ከጎረቤት ደብር ጋር መፎካከር ኃጢአት ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ደብር ሰንበት ትምህርት ቤት ዘማሪት ነኝ። ከጎረቤት ደብር መዘምራን ጋር የቆየ ፉክክር አለን። ጥምቀት ሲደርስ ማን አዲስ ወረብ አወጣ፣ የማን ልብስ አማረ፣ የማን ሰፈር ልጆች ረጅም ምንጣፍ አነጠፉ እየተባባልን ነው የምንከርመው። አምና በከተራ ዕለት የእነሱ ማይክ መዝሙሩ መሀል ላይ ጠፋባቸው። ሳላስበው ደስ አለኝ፣ ሳቅሁም። አጠገቤ የነበሩትም ሳቁ። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። አንዱ ወንድማችን «ፉክክር ባይኖር ተኝተን ነበር» ይላል። ሌላው ደግሞ «ፉክክር ከሰይጣን ነው» ይላል። የቱ ነው ትክክል? ለትንሣኤ ደግሞ ሁለቱ ሰንበት ትምህርት ቤቶች የዋንጫ ጥያቄና መልስ ውድድር አዘጋጅተዋል። ልግባ ወይስ ልተወው?

መልስ፦ እኅቴ፣ እንቅልፍ እምቢ ያለሽ ደግ አደረገ። ስቆ የተኛው ነው ይበልጥ የሚያሳስበኝ።

ሁለቱም ወንድሞች አልተሳሳቱም። የሚያወሩት ግን ስለ አንድ ነገር አይደለም። የትንሣኤን ማለዳ አስቢ። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 20 ጴጥሮስና ያ ሌላው ደቀ መዝሙር ወደ መቃብሩ ሲሮጡ እናያለን። ሌላው ደቀ መዝሙር ዮሐንስ ነው። ፈጥኖ ቀደመ። ጎንበስ ብሎ የተልባ እግሩን ልብስ አየ፣ ግን አልገባም። ጴጥሮስ ከኋላ ደርሶ ገባ፣ ከዚያ እሱ ተከተለ። ማን ቀድሞ እንደደረሰ ደግሞ እስከ ዛሬ እናውቃለን። ዮሐንስ ጽፎታላ! መቅደሙን አልካደም፣ በሩን ግን አልዘጋም።

እነዚሁ ሐዋርያት በሌላ ቀን መንገድ ላይ «ከእኛ ማን ይበልጣል?» እያሉ ይከራከሩ ነበር። ጌታችን ምን እያወራችሁ ነበር ሲላቸው ዝም አሉ (ማርቆስ 9)። ሉቃስ እንደሚነግረን በመጨረሻው እራት ማዕድ ላይ እንኳ ይኸው ክርክር ተነሣ። መልሱን ታውቂዋለሽ፣ ታላቅ ሊሆን የሚወድ አገልጋይ ይሁን የሚል ነው። ትልቅ መሆን አትፈልጉ አላላቸውም። ወደየት እንደሚሮጡ ነው ያሳያቸው።

ፉክክር በቤተ ክርስቲያናችን ሲሠራ ማየት የፈለገ ቅኔ ቤት ይሂድ። ተማሪው በትንሿ የቅኔ ዓይነት በጉባኤ ቃና ይጀምራል፣ ሁለት ቤት (ስንኝ) ናት። ከዚያ ዘአምላኪየ፣ ሚበዝኁ እያለ እስከ ረጅሙ ቅኔ እስከ መወድስ ይወጣል። ብቻውን ጥግ ይዞ ቅኔውን ይቆጥራል፣ ማለትም ያዘጋጃል፣ ከዚያ ለመምህሩ ይነግራል፣ ይታረማል። አብሮት የመጣው ልጅ መወድስ ሲደርስ እሱ ገና ጉባኤ ቃና ላይ ከሆነ ሌሊቱን አይተኛም። መምህሩ በአለንጋ የማያመጡትን የጓደኛው ቅኔ ያመጣዋል። ይህ ፉክክር ነው፣ ጠንካራ ፉክክር። ግን አንድ ሥርዓት አለው። የበለጠው ተማሪ አስነጋሪ ይሆናል። ማለትም ከኋላ የቀሩትን ቅኔ ይሰማል፣ ያርማል፣ ያቃናል። አሸናፊነቱ ሥራ ይጨምርበታል እንጂ ወንበር ላይ አያስቀምጠውም።

በጉባኤ ቤቶቹ መካከልም እንዲሁ ነው። ዋሸራ፣ ጎንጅና ዋድላ በቅኔ የየራሳቸው መንገድ አላቸው። የየቤቱ ልጆች ሲገናኙ ይነካካሉ፣ ይቀላለዳሉ፣ አንዳንዴም ይቆጣሉ። ግን ሊቅ መሆን የፈለገ ከአንዱ ቤት ተነሥቶ ወደ ሌላው አኮፋዳውን ይዞ ይሄዳል። የዜማ ትምህርት ለሆኑት ለድጓ ቤተልሔም፣ ለዝማሬ መዋሥዕት ዙር አባ፣ ለቅዳሴ ሰለልኩላ ወይም ደብረ ዓባይ ነው። አንዱ ቤት ብቻውን ሙሉ ሰው አያወጣም። ስለዚህ ተፎካካሪህ መምህርህም ነው።

የጥምቀቱን ምንጣፍም አትናቂው። ልጆቹ ታቦቱ ያለፈበትን ምንጣፍ ከኋላ ጠቅልለው፣ ተሸክመው፣ ሕዝቡን እየቀደሙ ሮጠው ከፊት ሲዘረጉት አይተሻል። ያን ቀን ጭንቅላቱ ላይ ላብ ያልወረደበት ልጅ የለም። አንዱ ሰፈር መንገዱን ጠርጎ ቄጠማ ሲጎዘጉዝ ያየ ሌላ ሰፈር «እኛስ ማን ከማን ያንሳል!» ብሎ በሚቀጥለው ዓመት መጥረጊያ ይዞ ወጣ። በዚህ ፉክክር ስንት ጎዳና ጸዳ፣ ስንት ሥራ ፈት ወጣት ወደ ቤተ ክርስቲያን ቀረበ። ዕብራውያን 10፥24 «ለፍቅርና ለመልካምም ሥራ እንድንነቃቃ እርስ በርሳችን እንተያይ» ይላል። መተያየት መልካም ነው።

አሁን ወደ ክፉው ጎኑ ልምጣ፣ እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ።

የጽዋ ማኅበር ታውቂያለሽ። በአንዱ ወር እገሊት ዳቦና ጠላ አቀረበች። በሚቀጥለው ወር ተረኛዋ ዶሮ ሠራች። ከዚያ ጥብስ መጣ፣ ከዚያ ለስላሳ በሳጥን። ማንም ሕግ አላወጣም። ግን ተራዋ የደረሰ አንዲት ደሀ እናት «አሞኛል» ብላ ትቀራለች። በሚቀጥለው ጊዜም ትቀራለች። ከዚያ ስሟ ከማኅበሩ ይወጣል። የቅዱሱ ዝክር ደሀ እንዲጠግብ ነበር፣ ደሀዋን አስወጣ። ማንም ክፉ አላሰበም፣ ሁሉም ላለማነስ ብቻ ነው የሮጠው።

ደግሞ የራሳችን ተረት «የፉክክር ቤት ሳይዘጋ ያድራል» ይላል። ሁለት የአገልግሎት ክፍሎች በአንድ አዳራሽ ሲጠቀሙ አይቻለሁ። ከበዓል በኋላ ወንበሩን ማን ያንሣ? አንዱ «የእነሱ ተራ ነው» ይላል፣ ሌላውም «የእነሱ ነው» ይላል። መብራቱ ሲበራ ያድራል። ለመድረክ የሚሻማ ሁሉ ለመጥረጊያ አይሻማም።

ገንዘብ ማሰባሰብም አለ። ለሕንፃ ግንባታ ማይክ ይዘን «እገሌ 50 ሺህ ብር! የሚበልጥ አለ?» እንላለን። ይህ ሁሉ መጥፎ ነው አልልም። ቅዱስ ጳውሎስም በ2ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 8 እና 9 ይህን መሰል ነገር አድርጓል። በኢየሩሳሌም ላሉ ድሆች ሲያሰባስብ ለመቄዶንያ ሰዎች የቆሮንቶስን ትጋት ነገራቸው፣ ብዙዎችም ተነሣሡ። ለቆሮንቶስ ሰዎች ደግሞ የመቄዶንያን ልግስና ነገራቸው። ግን መቄዶንያውያን የተመሰገኑት ከድህነታቸው ስለሰጡ ነው እንጂ ከሌላው ስለበለጡ አይደለም። «በኀዘን ወይም በግድ አይደለም» ብሎም አጥብቆ ተናግሯል። ሰው ስሙ በማይክ ተጠርቶ አፍሮ ከሰጠ፣ ብሩ ይገባል፣ ደስታው ግን ይቀራል።

ከዚህ በላይ የሚከብድ ነገር አለ። ሰው ለራሱ ሲቀና ቶሎ ያፍራል። ለቡድኑ ሲቀና ግን አያፍርም፣ እንዲያውም ያገለገለ ይመስለዋል። አንቺ ጎረቤትሽ መንገድ ላይ ብትወድቅ ትስቂ ነበር? አትስቂም። ታነሻታለሽ። የእነሱ ማይክ ሲጠፋ ግን «እነሱ» ስለሆኑ ሳቅሽ። ለደብርሽ የተቆረቆርሽ መሰለሽ።

ይህ ቅዱሳንንም ፈትኗል። ቅዱስ ባስልዮስና ቅዱስ ጎርጎርዮስ ነባቤ መለኮት በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአቴና አብረው ተማሩ። ጎርጎርዮስ ባልንጀራው ካረፈ በኋላ ስለዚያ ዘመን ሲናገር፣ ትግላችን ቀዳሚውን ቦታ ለመያዝ ሳይሆን አንዳችን ለሌላችን ለመልቀቅ ነበር፣ የአንዱን ክብር ሌላው እንደ ራሱ ይቆጥረው ነበር ይላል። ከዚህ በላይ ቆንጆ ፉክክር አላውቅም። ከዓመታት በኋላ ግን፣ ባስልዮስ የቂሳርያ ሊቀ ጳጳስ ሳለ፣ የሮም ንጉሥ ቫሌንስ አገራቸውን ቀጰዶቅያን ለሁለት ከፈላት። የቲያናው ኤጲስ ቆጶስ አንቲሞስም በባስልዮስ ሥር የነበሩ አብያተ ክርስቲያናት ለእኔ ይገባሉ አለ። ባስልዮስ ወገኑን ለማጠንከር በ372 ዓ.ም. ገደማ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፣ ወዳጁን ጎርጎርዮስን ሳሲማ በምትባል አቧራማ የመንገደኛ ማረፊያ ላይ ሾመው። ጎርጎርዮስ አልፈለገም፣ በጣም አዘነ፣ ማዘኑንም ጽፎታል። ባስልዮስ ቅዱስ ነው፣ ቅዳሴውንም እንቀድሳለን። ለራሱ ሲሆን ቦታ ይለቅ የነበረው ሰው፣ ነገሩ የወገን ሲሆን ወዳጁን አሳዘነ። እነሱን የፈተነ እኛን ይተወናል ማለት ዘበት ነው።

ለዚህ ነው ጳውሎስ ለፊልጵስዩስ ሰዎች «ለወገኔ ይጠቅማል በማለት ወይም በከንቱ ውዳሴ ምክንያት አንድ እንኳ አታድርጉ» ያለው (2፥3)። ከንቱ ውዳሴን ሁላችንም እናወግዛለን። «ለወገኔ» የሚለው ግን ከዚያ ቀድሞ ነው የተጻፈው። በቆሮንቶስም «እኔ የጳውሎስ ነኝ፣ እኔ ግን የአጵሎስ ነኝ» የሚሉ ነበሩ። ጳውሎስ የራሱን ደጋፊዎች አላመሰገነም። «እኔ ተከልሁ አጵሎስም አጠጣ ነገር ግን እግዚአብሔር ያሳድግ ነበር» አላቸው። በውጭ አገር ያላችሁ ምእመናን ይህን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። በአንድ ከተማ ሁለት ቤተ ክርስቲያን፣ ሁለት ወገን፣ በመንገድ የማይሰላለም ዘመድ። የቤተ ክርስቲያናችን ሲኖዶስ በአገር ቤትና በውጭ ለሁለት ተከፍሎ ከ25 ዓመት በላይ ቆየ። በሐምሌ 2010 ዓ.ም. አባቶች ዋሽንግተን ላይ ሲታረቁ ሽማግሌዎች ሲያለቅሱ ያየ ሰው፣ ለወገን መቆም ምን ያህል እንደሚያስከፍል ያውቃል።

ታዲያ ምን ታድርጊ? የተደሰትሽበትን ነገር ለንስሐ አባትሽ ንገሪ። ቀላል ነው ብለሽ አትለፊው፣ ከመዘምራኑም አትውጪ። መውጣት ብዙ ጊዜ ትሕትና ይመስላል እንጂ ሽሽት ነው። ለእነዚያ መዘምራን ሄደሽ «ስቄባችሁ ነበር» ማለት አያስፈልግሽም፣ ሌላ ቁስል ይከፍታል። ይልቅ በጸሎትሽ አስቢያቸው። ክፉ ሐሳብ ዳግም ሲመጣ ደግሞ አንድ ነገር ጠይቂ፦ ያን ጊዜ የተቋረጠው ምስጋና የማን ነበር? የእነሱ ታቦት አንቺ ከምትዘምሪለት ጌታ ሌላ ጌታ የለውም።

ለኃላፊዎቻችሁም አንድ ሐሳብ አቅርቢ። ለዘንድሮው ከተራ ሁለታችሁም አንድ ወረብ አብራችሁ አጥኑ። ልምምዱ አንድ ሳምንት እዚህ፣ አንድ ሳምንት እዚያ ይሁን። ትርፍ ማይክና ባትሪም በጋራ ይያዝ። ማን ይቅደም፣ ማን የት ይቁም የሚለውን የሁለቱ ደብር አባቶች አስቀድመው ይወስኑ። በከተራ ዕለት መንገድ ላይ የሚወሰን ነገር ሁሉ ግፊያ ያመጣል።

ውድድሩን በተመለከተ፣ ግቢ። መጽሐፍ ቅዱስ ለመወዳደር ሲባል የተነበበም ቢሆን ልብ ውስጥ ይገባል። ብዙ ልጆች ግዕዝና ቀኖና ያወቁት በእንዲህ ዓይነት ውድድር ነው። ግን ዋንጫውን ለአንድ ደብር አትስጡ። ቡድኖቹን ቀላቅሉ። በእያንዳንዱ ቡድን ከሁለቱም ሰንበት ትምህርት ቤት ሁለት ሁለት ልጅ ይግባ፣ ስማቸውንም በቅዱሳን ስም ሰይሙ። ያሸነፈው ቡድን እንደ ቅኔ ቤቱ አስነጋሪ ይሁን፣ በሚቀጥለው ወር ታናናሾቹን ያስተምር። ሽልማት ካስፈለገ መዝሙረ ዳዊት ለሁሉም ስጡ። አዘጋጆቹ ይህን ካልተቀበሉም ግቢ፣ ብቻ ስትሸነፉ አንቺ ቀድመሽ አጨብጭቢ። ስታሸንፉ ደግሞ ሰፈር ለሰፈር እየዞሩ መጨፈሩን ተዉት።