ፊት አታንጡ፦ ፎቶ ኤዲት ማድረግ ለጀመሩ የባሕር ዳር ልጆች ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ጣና ዳር ፎቶ እያነሳችሁ ኤዲት ማድረግ የጀመራችሁ ልጆች ብዙ ጥያቄ ልካችሁልኛል። ዛሬ ቁጭ ብዬ ልመልስ። እኔም ይህን ነገር ትምህርት ቤት ገብቼ አልተማርኩም። ፎቶዬን በኢንተርኔት ለማላውቃቸው ሰዎች እየላክሁ፣ እነሱም ማታ ከሥራ ገብተው ያለ ምንም ክፍያ «ይሄ በዝቷል፣ ያንን መልሰው» እያሉኝ ነው የለመድኩት። የእነሱ ውለታ ስላለብኝ የትኛውንም ጥያቄ ቀላል ነው ብዬ አላልፍም።

ያለኝ ስልክ ብቻ ነው። ላፕቶፕ እስክገዛ ልጠብቅ?

አትጠብቅ። ስናፕሲድ የሚባለውን የፎቶ ኤዲት ማድረጊያ አፕ ጫንና ዛሬውኑ ጀምር። የጉግል ነው፣ ነፃ ነው፣ አንዴ ካወረድከው ዳታ ሳትከፍት ይሠራል። ላፕቶፕ ያገኘህ ቀን ደግሞ ጂምፕና ዳርክቴብል የሚባሉ የፎቶ ፕሮግራሞች አሉልህ፤ ሁለቱም በነፃ የሚገኙ ናቸው፤ ጂምፕ እንዲያውም እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ያለ ነው። ፎቶሾፕ እ.ኤ.አ. ከ2013 ወዲህ አዳዲሱ የሚገኘው እየከፈሉ በመቀጠል ነው፤ በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው ክራክ የተደረገው፣ ማለትም ሳይከፈልበት እንዲሠራ የተሰበረው ነው። እሱን አልመክርህም። ቫይረስ ይዞ ገብቶ የሰው የዓመት ፎቶ ሲያጠፋ አይቻለሁ።

ማለዳ ላይ ታንኳ አነሳሁ። ሰማዩ እንደ ወረቀት ነጣ፣ ታንኳውና ቀዛፊው ግን ጠቆሩ። ይድናል?

ግማሹ ይድናል። ሂስቶግራም የሚባለውን ተራራ የመሰለ ሥዕል ክፈት፤ ግራው ጥቁር፣ ቀኙ ነጭ ነው፤ ከ0 እስከ 255 ይሄዳል። ያንተ ተራራ ቀኝ ጠርዙ ላይ ተለጥፏል። ሰማዩ 255 ሞልቶ ፈስሷል ማለት ነው። እዚያ ውስጥ የተቀመጠ ደመና የለም፤ ሃይላይቱን (ብሩሁን ክፍል) ብታወርድ ነጩ ግራጫ ይሆናል እንጂ ደመናው አይመለስም። ጥቁሩ ጎን ግን እስካልተደፈነ ድረስ ብዙ ነገር ይዟል። ሻዶውን (ጨለማውን ክፍል) ቀስ እያልክ ክፈት፤ የቀዛፊው እጅና ደንገሉ የታሰረበት ገመድ ሲወጣ ቁም። ከዚያ ካለፍክ አሸዋ የመሰለ ነጠብጣብ ይመጣብሃል።

በሚቀጥለው ስክሪኑ ላይ ሰማዩን ነካ አድርገህ ብርሃኑን ዝቅ አድርግ፤ ፎቶው ጨለም ብሎ ይግባ። ስልክህ ሮው፣ ማለትም ካሜራው የለቀመውን ብርሃን ሳይቀንስ የሚያስቀምጠውን ፋይል፣ የሚያነሳ ከሆነም እሱን አብራ። ጄፔግ፣ የተለመደው የፎቶ ፋይል፣ ለእያንዳንዱ ቀለም 256 ደረጃ ብቻ ነው የሚይዘው፤ 14 ቢት የሆነ የካሜራ ሮው 16,384 ይይዛል። ሻዶው ስትከፍት የሚታደግህ ያ ትርፍ ነው። ደግሞ የሐይቁ መስመር ወደ ግራ አዘንብሏል፤ ከሁሉም በፊት እሱን አቅና።

ጋሼ፣ ከዘጌ ነኝ። አክስቴን ነጠላ ለብሳ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ አነሳኋት። ፊቷ ጠቆረብኝ። ብራይትነስ ስጨምር የነጠላው ጥለት ጠፋ፣ ፊቷም አመድ መሰለ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ካሜራ የሚለካው ፊቱ የቆመውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ፣ ከሚያርፍበት ብርሃን 18 በመቶ ያህሉን እንደሚመልስ ዕቃ ቆጥሮ ነው። ነጠላው ፎቶውን ሲሞላው ብርሃን የበዛ ይመስለውና ሁሉንም ያወርዳል። አብሮ የሚወርደው ፊት ነው። አክስትሽ መልክ ላይ ምንም የሚታረም ነገር የለም።

ሙሉውን ፎቶ አትንኪ። ስናፕሲድ ላይ ሴሌክቲቭ የሚለውን ከፍተሽ ጉንጯ ላይ ነጥብ አድርጊ፤ በሁለት ጣት ፊቷን ብቻ እስኪይዝ አጥብቢው፤ ብራይትነስ 15 ወይም 20 ጨምሪ። ይበቃል። ሌላ ነጥብ ነጠላው ላይ አድርጊና ትንሽ አውርጂ፤ ጥለቱ ይወጣል። ፊቷ አመድ የመሰለው ብርሃኑ ሲጨመር ቀለሙ ስለታጠበ ነው፤ እዚያው ነጥብ ላይ ሳቹሬሽን (የቀለሙን ድምቀት) 5 ያህል መልሺለት። ልኩ ከጠፋብሽ አክስትሽን አጠገብሽ አስቀምጠሽ ፊቷን እያየሽ ሥሪ።

ፊት የሚያነጣውንና ቆዳ የሚያለሰልሰውን ፊልተር ግን እባክሽ አትንኪው። አያቴ አንገቷ ላይ ሦስት ዙር ንቅሳት ነበራት፤ ግንባሯ ላይ መስቀል። ካረፈች በኋላ ፎቶዋን ትልቅ አድርገው እንዲያትሙልን ለአንድ ፎቶ ቤት ሰጠን። ሲመጣ አንገቷ ባዶ ነው። ንቅሳቱ እንደ ብጉር ተቆጥሮ ተጠርጓል፤ መስቀሉ ደብዝዞ ጭረት መስሏል፤ ፊቷ ነጥቷል። እናቴ በሁለት እጇ ይዛ ብዙ ካየችው በኋላ «ይቺን አላውቃትም» አለች። የሠሩት ዋናው ፋይል ላይ ነበርና በላዩ ሴቭ አድርገውታል። ሌላ አልነበረንም።

ስለዚህ መጀመሪያ ፎቶውን ኮፒ አድርጊ፤ የምትሠሪው ሁልጊዜ ኮፒው ላይ ይሁን። ንቅሳት፣ ጠባሳ፣ ማዲያት፣ የዕድሜ መስመር የባለቤቱ ነው፤ እሱ ራሱ አጥፉልኝ ካላለ አይጠፋም።

ዑራ ኪዳነ ምሕረት ውስጥ ያነሳኋቸው ሥዕሎች ሁሉ ቢጫ ሆኑ።

ዋይት ባላንስ ነው፤ ነጭ ነገር ነጭ ሆኖ እንዲታይ ቀለሙን የሚያስተካክለው። የብርሃን ቀለም የሚለካው በኬልቪን ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ብርሃኑ ቢጫ ይሆናል። የጧፍ ብርሃን ወደ 1,900 ኬልቪን ነው፣ የቀትር ፀሐይ ወደ 5,500። በበር የገባው ብርሃንና የውስጡ ሲቀላቀሉ ካሜራው ይዋልላል። ነጩን የሚመርጠውን መሣሪያ ይዘህ ፎቶው ውስጥ ያለ ነጠላ ንካ። ሥዕሉ ላይ ያለውን ነጭ አትምረጥ፤ የቆየ ቀለም በዕድሜ ይለወጣል። ቢጫውንም ሙሉ በሙሉ አታጥፋው፣ መቅደሱ ዙሪያ የነበረው ብርሃን እንዲያ ነበርና። የካሜራ ፍላሽ አትጠቀም፤ ከማንሳትህ በፊትም ፈቃድ ጠይቅ።

የጀንበር መጥለቂያዬን ቀለሙ የውሸት ነው አሉኝ።

ሳቹሬሽኑን በግማሽ ቀንስ። ከተማችን ከሐይቁ በስተደቡብ ናት፤ በታኅሣሥ ፀሐይ የምትጠልቀው በየብሱ በኩል ነው፤ በግንቦትና በሰኔ ወደ ሰሜን ምዕራብ ስለምታዘነብል ወደ ውኃው ትጠጋለች። ቀለም ከማብዛት ወር መምረጥ ይሻላል።

በቴሌግራም ስልከው ለምን ይደበዝዛል?

እንደ ፎቶ ስትልከው ስለሚጨምቀው ነው። በፋይል ላከው።

ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። ስልኬ ላይ ደማቅ የነበረው ፎቶ ሲታተም ጨለመ።

ጌታዬ፣ ምናልባት ደጅ ፀሐይ ላይ፣ የስልኩ ብርሃን እስከ ጥግ ተከፍቶ ሳለ ሠርተውት ይሆናል። እንዲያ ሲሆን ፎቶው የበራ ይመስላል፤ ወረቀት ግን የራሱ ብርሃን የለውም። ጥላ ገብተው የስክሪኑን ብርሃን ወደ ግማሽ አውርደው እንደገና ይዩት። ለ10 በ15 ሴንቲ ሜትር ህትመት ደግሞ 1,800 በ1,200 ፒክስል ያህል ያስፈልጋል፤ ከዚያ በታች ከሆነ ይደበዝዛል።

ፎቶዬን ለባለሙያዎች ስልክ «ቆንጆ ነው» ብቻ ብለው ያልፋሉ።

አጠያየቁን ቀይር። ዋናውንና የሠራኸውን አንድ ላይ ላክ፤ ምን ማሳየት ፈልገህ እንደነበር በአንድ መስመር ጻፍ፤ አንድ ነገር ብቻ ጠይቅ። «እንዴት ነው?» ላለ ሰው መልሱ «ቆንጆ ነው» ነው። «የቀዛፊው ፊት ከውኃው ጋር ተቀላቀለብኝ፣ በምን ልለየው?» ላለ ግን ሰው እጁን ሰብስቦ አይቀመጥም። የነገሩህን ከሞከርክ በኋላ ውጤቱን መልሰህ አሳያቸው። እኔን ዓመታት ያስተማሩኝ ሰዎች የቆዩልኝ በዚህ ነው።

አንድ ዓሣ አጥማጅ መረብ ሲስብ አነሳሁ። መረቡ እምቦጭ ይዞ ወጣ። በሂሊንግ (ያልተፈለገውን በሚጠርገው መሣሪያ) ባጠፋው ፎቶው ያምራል። ላጥፋው?

አታጥፊው። እምቦጭ ጣና ላይ መኖሩ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፤ ከዚያ ወዲህ መረብ የሚያበላሸውና የታንኳ መንገድ የሚዘጋው እሱ ነው። ፎቶሽ ላይ ሰውየው ጀርባው የጎበጠው፣ የክንዱ ሥር የተገተረው ያንን ሲስብ ነው። እምቦጩን ካነሳሽው ባዶ መረብ ለምን እንዲህ እንደከበደው ለሚያይ ሰው አይገባውም። ጥግ ላይ ያለውን የፕላስቲክ ጠርሙስ ክሮፕ አድርገሽ ከጠርዙ ብትቆርጪው ግን ምንም አይጎድልም። የእምቦጩ ሥር ጨለማ ውስጥ ገብቷል፤ እዚያ ላይ ብቻ ብርሃን ጨምሪና መልሰሽ ላኪልኝ።