ዘይት ቀብቼው ለምን ዛገ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ በቆየ ወታደራዊ ጥይትና በጠመንጃ ዝገት ላይ ያተኮሩ ስለሆኑ አንድ ላይ መልሰናቸዋል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አሮጌ ወታደራዊ ጥይት ተኩሼ በዚያው ማታ በርሜሉን በናፍጣ አጠብኩት። ጨርቁ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ወለወልኩ፣ ዘይት ቀባሁና አስቀመጥኩት። በሦስተኛው ቀን ሳየው ውስጡ ቡናማ ሆኗል። ዘይቱ ነው መጥፎው ወይስ እኔ ያጎደልኩት ነገር አለ?

መልስ፦ ዘይቱን አይውቀሱት። የጎደለው ውሃ ነው።

መርፌው የሚመታት፣ በቀለሃው ቂጥ ላይ ያለችው ትንሽ ካፕሱል በድሮ ጥይቶች ውስጥ ፖታሲየም ክሎሬት የሚባል ውህድ ትይዛለች። ጥይቱ ሲተኮስ ክሎሬቱ ኦክስጅኑን ለቃጠሎው ይሰጥና ራሱ ፖታሲየም ክሎራይድ ሆኖ ይቀራል። ይህ ጨው ነው፤ ከምንበላው ጨው ጋር የቅርብ ዘመድ። ከትኩስ ጋዙ ጋር ተገፍቶ በርሜሉን ከዳር እስከ ዳር ይለብሰዋል፣ መዝጊያው ፊት ላይ ይረጫል፣ በጋዝ በሚሠራ ጠመንጃ ደግሞ በጋዙ እየተገፋ መዝጊያውን እስከሚያንቀሳቅሰው ፒስተን ድረስ ይዘልቃል።

ጨው በናፍጣ አይሟሟም። በነጭ ጋዝም፣ በቤንዚንም፣ በመሣሪያ ዘይትም አይሟሟም። ናፍጣው ጥላሸቱን አንስቶልዎታል፤ ጨርቁ ነጭ የሆነውም ለዚህ ነው። ጨው ግን ነጭ ጨርቅ ላይ አይታይም። ከላዩ ዘይት ሲቀቡ ጨውን ከብረቱ ጋር አብረው ከደኑት። ቀጭን የዘይት ሽፋን እርጥበትን ያዘገያል እንጂ ለዘለቄታው አያግድም፤ ጨው ደግሞ እርጥበት ይስባል። የአየሩ እርጥበት ወደ 85 በመቶ ሲጠጋ ፖታሲየም ክሎራይድ ራሱን ችሎ ወደ ጨዋማ ውሃነት ይለወጣል። ከዚያ በታችም ቢሆን ክሎራይዱ ዝገቱን ማፋጠኑ አይቀርም፣ በተለይ ትንንሽ ጉድጓዶች እየቦረቦረ።

ጥፋቱ የባሩዱ አሲድ ነው የሚለው አባባል ዛሬም ድረስ ይሰማል። የአሜሪካ የማዕድን ቢሮ እ.ኤ.አ. በ1922 ባወጣው ጥናት ምክንያቱ ባሩዱ ሳይሆን ከካፕሱሉ የሚወጣው ጨው መሆኑን አሳይቷል። ጨዋማው በርሜል በደረቅ አየር ውስጥ ሳይዝግ ይቆያል፤ እርጥበት ሲያገኝ ነው የሚበላው። አንዱ ሳያጥብ ሳምንት አስቀምጦ ምንም ሳይሆንበት፣ ሌላው በማግሥቱ ዝገት የሚያገኘውም በዚሁ ልዩነት ነው።

ጥያቄ፦ ውሃ በብረት ላይ ማፍሰስ ለሰሚውም ይከብዳል። የፈላ ውሃ የግድ ነው? መጠኑስ? ቅደም ተከተሉን ብትነግሩን።

መልስ፦ ቀዝቃዛ ውሃም ጨውን ያሟሟል። 100 ሚሊ ሊትር ውሃ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ወደ 34 ግራም፣ ሲፈላ ደግሞ ወደ 56 ግራም ፖታሲየም ክሎራይድ ያሟሟል። በርሜል ውስጥ የሚቀረው ጨው ከዚህ እጅግ ያነሰ ስለሆነ የመሟሟቱ ጉዳይ አያሳስብም። የፈላ ውሃ ትልቁ ጥቅም ብረቱን ማሞቁ ነው፤ የሞቀ ብረት ራሱን በራሱ ያደርቃል።

ከሁሉ በፊት ካዝናውን ያውጡ፣ መዝጊያውን ይክፈቱ፣ ጥይት የሚጎርስበትን ክፍል (መጉረሻውን) በዓይንም በጣትም ይፈትሹ። ጥይቱን ከሚሠሩበት ቦታ ያርቁ።

መዝጊያው በእጅ የሚሳብ ጠመንጃ ከሆነ ሥራው ቀላል ነው። መዝጊያውን አውጥተው አፈሙዙን ወደ ታች፣ ባልዲ ውስጥ ያቁሙት። አፉ ሰፊ፣ ጫፉ ቀጭን በሆነ ማፍሰሻ ከመጉረሻው በኩል ግማሽ ሊትር የፈላ ውሃ ቀስ ብለው ያፍስሱ። ማፍሰሻው ጫፍ ላይ መጉረሻው ድረስ የሚደርስ ቱቦ ቢኖረው ውሃው ወደ ሰደፉ አይፈስም፤ የእንጨት ሰደፍ ውሃ ከጠጣ ብረቱን ከውጭ በኩል ያዝገዋልና ይህን አይናቁት። ቀጥሎ የነሐስ ብሩሽ በውሃ አርሰው አሥር ጊዜ ያህል ያመላልሱና ሌላ ግማሽ ሊትር ያፍስሱ። በርሜሉ ስለሚግል በወፍራም ጨርቅ ይያዙት።

ውሃው ፈስሶ እንዳለቀ ወዲያው ደረቅ ጨርቅ ያሳልፉ፣ አንድ ሁለቴ ሳይሆን ጨርቁ ደርቆ እስኪወጣ። እዚህ ላይ የሚዘገይ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ቀላ ያለ ቀጭን የዝገት ሽፋን ያገኛል። ይህ የውሃው እንጂ የጨው ዝገት ስላልሆነ በዘይት በራሰ ጨርቅ ይነሳል። በርሜሉ ሞቅ እንዳለ ሁለት ሦስት ጠብታ ዘይት ያለበት ጨርቅ ያሳልፉ። ጥላሸቱንና የመዳብ ቅሪቱን በተለመደው ማጽጃ ማንሳት የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉን የሚገለብጡ አሉ፤ መጀመሪያ ዘይታማ ማጽጃ ከገባ ውሃው የጨውን ቅንጣት ለማግኘት ይቸገራል።

መዝጊያውን አይርሱት። ፊቱን፣ መርፌው የሚወጣበትን ቀዳዳና ቀለሃ የሚያወጣውን ጥፍር ሥር በሙቅ ውሃና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይሹ። ካፕሱል በስታ ጋዝ ወደ ኋላ አምልጣ ከሆነ መርፌውም ወጥቶ መታጠብ አለበት።

በማግሥቱ ነጭ ጨርቅ ያሳልፉና ቀለሙን ይዩ። ጥቁርና ግራጫ ጥላሸት ነው፣ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ መዳብ ነው፣ ብርቱካናማ ወይም ቡናማ ከሆነ ዝገት ነውና በውሃ ይድገሙት። የሶቪየት ጦር የክላሽንኮቭ መመሪያ ከተኩስ በኋላ ባሉት ከ3 እስከ 4 ቀናት ጠመንጃው በየቀኑ እንዲጸዳ የሚያዘው አለምክንያት አይደለም።

ጥያቄ፦ የእኔ ክላሽ ነው። በርሜሉ ክሮም ስለሆነ አያስፈልገውም ይሉኛል፤ እውነት ነው?

መልስ፦ ግማሹ እውነት ነው። ክሮም ራሱ አይዝግም፣ ግን ስንጥቅ የሌለበት ሽፋን አይደለም፤ በዓይን የማይታዩ ስንጥቆች ስላሉት ጨዋማ ውሃ በእነሱ በኩል ከሥር ያለውን ብረት ያገኘዋል። ጊዜ ይሰጥዎታል እንጂ ከማጠብ ነፃ አያደርግዎትም።

ከበርሜሉ ውጭ ያለው ደግሞ ይብሳል። ፒስተኑ ክሮም ቢሆንም የጋዝ ቱቦውና ፒስተኑ የሚገባበት የጋዝ ክፍል ክሮም የላቸውም። አፈሙዙ ላይ የሚጠመዘዘው መሣሪያ ከነጥርሱ ጨውን ሰብስቦ ይይዛል፤ ሳይፈታ ዓመታት ከቆየ እዚያው ዝጎ ይጣበቃል። ስለዚህ ካዝናውን አውጥተው መጉረሻውን ከፈተሹ በኋላ ጠመንጃውን ይፍቱት፣ የጋዝ ቱቦውን አውጥተው ለብቻው ሙቅ ውሃ ውስጥ ይንከሩ፣ ፒስተኑን ከነተሸካሚው ያጥቡ፣ የአፈሙዙን መሣሪያ ይንቀሉ። የጋዝ ቀዳዳው ወደ በርሜሉ ስለሚገናኝ በበርሜሉ የሚያፈሱት ውሃ በከፊል በዚያ በኩል ይወጣል፤ ይውጣ፣ የሚፈለገውም ይኸው ነው። ሲያደርቁ ግን የጋዝ ክፍሉን ጨርቅ በተጠመጠመበት እንጨት መጥረግ ያስፈልጋል፤ ውሃ የሚቀረው እዚያ ነው። የጋዝ ቱቦውንና ፒስተኑን በዘይት አይሙሉ፤ ሲግል ተቃጥሎ ጥላሸት ከመሆን በቀር ጥቅም የለውም። በስሱ ቀብተው መልሰው ይጥረጉት።

ክላሽ ከመጉረሻው በኩል በዘንግ ስለማይጸዳ ዘንጉ በአፈሙዙ ይገባል። የአፈሙዙ ጫፍ ከተፈገፈገ ጥይቱ ያዘነብላል፤ ዘንጉን መሃል ላይ የሚይዘውን ክዳን ይጠቀሙበት፣ ለጌጥ አልተሠራም።

ጥያቄ፦ መስታወት ማጽጃ አሞኒያ ስላለው ጨውን ያረክሰዋል ሲባል ሰምቻለሁ። ቤኪንግ ሶዳስ?

መልስ፦ ፖታሲየም ክሎራይድ አሲድ አይደለም፣ ስለዚህ የሚረክስ ነገር የለውም። ተሟሙቶ መውጣት ብቻ ነው ያለበት። መስታወት ማጽጃው የሚሠራው አብዛኛው ውሃ ስለሆነ ነው። አሞኒያው የሚነካው መዳብን ነው፣ ለዚያም መጠኑ ትንሽ ነው። በእጅዎ ካለ ይጠቀሙበት፤ ለዚህ ብሎ መግዛት ግን ውሃን በውድ ዋጋ መግዛት ነው። የሰደፍ ቀለምና ቫርኒሽ እንዳይነካ ይጠንቀቁ፣ ከታጠበም በኋላ ማድረቅና ዘይት መቀባት አይቀርም። ቤኪንግ ሶዳ ራሱ መታጠብ የሚፈልግ ሌላ ጨው ይጨምርልዎታል። ኮምጣጤ የብረቱን ጥቁር ቀለም ይልጣል። በረኪና ጨርሶ አይሞከርም፦ ብረት ያዝጋል፣ ከአሞኒያ ጋር ከተገናኘ ደግሞ ሳንባ የሚጎዳ መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል።

ከተዘጋጁት ነገሮች እኛ የምንመርጠው ባሊስቶል የተባለውን የመሣሪያ ዘይት በውሃ በጥብጦ መጠቀምን ነው፤ አንድ እጅ ባሊስቶል ለአሥር እጅ ውሃ። ከውሃ ጋር ተዋህዶ ወተት ይመስላል፤ ውሃው ጨውን ያሟሟል፣ ሲተን ቀጭን ዘይት ይቀራል። ይህን ግን ለጊዜያዊ እጥበት እንጂ ለመጨረሻው ቅባት አይቁጠሩት። ደብሊው ዲ 40 የተባለው የሚረጭ ዘይት ውሃ ያባርራል እንጂ ጨው አያሟሟም።

የቆየውን የሶቪየት የጠመንጃ ማጠቢያ ድብልቅ የጠየቁም አሉ። 1 ሊትር ውሃ፣ 200 ግራም አሞኒየም ካርቦኔት፣ ከ3 እስከ 5 ግራም ፖታሲየም ዳይክሮሜት ነበር። ከጠመንጃው ጋር ይሰጥ የነበረው ባለ ሁለት አፉ የዘይት ዕቃ አንዱ ክፍል ለእንዲህ ዓይነቱ የአልካላይን ፈሳሽ፣ ሌላው ለዘይት ነበር። ዳይክሮሜት ካንሰር የሚያመጣ መርዝ ስለሆነ ቤት ውስጥ አይቀመምም። ጨውን የሚያወጣው ያው አንድ ሊትር ውሃ ነው።

ጥያቄ፦ ጥይቱ አዛጊ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ በቀለሃው ቀለም አይታወቅም፤ ብረትም ይሁን ነሐስ፣ የተቀባም ይሁን ያልተቀባ። በካፕሱሉ ዓይነትም አይወሰንም። ሁለት ትንንሽ የእሳት ቀዳዳ ያላቸው የበርዳን ቀለሃዎች ከድሮ ወታደራዊ ጥይት ጋር ስለሚያያዙ ይጠረጠራሉ፤ ዛሬ ግን አዛጊ ያልሆኑ በርዳኖችም ይሠራሉ። ዓመትና አገር የተሻለ ይረዳል፦ ከቀድሞው የሶቪየት ጎራ የመጣ የቆየ ወታደራዊ የ7.62 በ54 ጥይትና 7ኤን6 የተባለው የ5.45 ጥይት በአብዛኛው አዛጊ ናቸው። የአሜሪካ የ30-06 ወታደራዊ ጥይት እስከ 1950ዎቹ መጀመሪያ ድረስ በአብዛኛው አዛጊ ሲሆን፣ በዚያው ዘመን የተሠራው የኤም1 ካርባይን ጥይት ግን ከመጀመሪያውም አልነበረም።

ሳጥኑ ላይ «አያዝግም» የሚል ጽሑፍ ስላለ ብቻ አይመኑ። ከተጠራጠሩ አዛጊ ነው ብለው ጠመንጃውን ያጥቡት፤ ያለአስፈላጊነቱ ቢያጥቡ የሚያጡት ሃያ ደቂቃ ነው።

ጥያቄ፦ ተኩሰን ቤት የምንደርሰው በማግሥቱ ነው። መጨረሻ ላይ አዛጊ ያልሆነ ጥቂት ጥይት ብንተኩስ የቀደመውን ጨው ጠርጎ አይሄድም?

መልስ፦ አይሄድም። ጥቂቱን ቢያነሳ የቀረው በቂ ነው፣ ፒስተንና ጋዝ ክፍልንም አያጸዳም። ይልቅ አንድ ሊትር ውሃ ይያዙ። ጠመንጃው ባዶ መሆኑን አረጋግጠው፣ ከቀዘቀዘ በኋላ እዚያው ያፍስሱበት፣ ሁለት ሦስት ደረቅ ጨርቅና አንድ ዘይት የነካ ጨርቅ ያሳልፉ። ዋናው እጥበት ቤት ሲደርሱ ይሆናል። እስከዚያ ስፖንጅ ባለው ዝግ ሻንጣ አይክተቱት፤ ስፖንጁ እርጥበት ይይዛል። ከብርድ ወደ ሞቀ ክፍል የገባ ብረትም ላብ ያወጣል፤ ላቡ እስኪደርቅ ክፍት አድርገው ያቆዩት።

ጥያቄ፦ የዛገውንስ ምን ላድርግ? በአሸዋ ወረቀት ልፈግፍገው?

መልስ፦ በርሜል ውስጥ አሸዋ ወረቀት አይገባም፤ የበርሜሉን ጥምዝ መስመሮች ጠርዝ ይበላል። መጀመሪያ በፈላ ውሃ ያጥቡት፣ ምክንያቱም ጨው ከሥሩ ካለ የሚያነሱት ዝገት ተመልሶ ይመጣል። ደግሞም ማፍላት ቀዩን ዝገት ወደ ጥቁርና የረጋ ኦክሳይድ ይለውጠዋል፤ ጠመንጃን በዝገት የሚያጠቁሩ ባለሙያዎችም የሚጠቀሙት ይህንኑ ነው። ከዚያ ዘይት አፍስሰውበት ሌሊቱን ያሳድሩና በነሐስ ብሩሽ ያጽዱት። ለውጭው አካል 0000 የሚባለውን እጅግ ደቃቅ የብረት ሱፍ በዘይት አርሰው በቀስታ ያሹት።

ብሩሽ ዝገትን ያነሳል፣ ጉድጓድን አይሞላም። በበርሜሉ መሃል ያሉ ጥቃቅን ጉድጓዶች ቆሻሻ ቶሎ ይሰበስባሉ እንጂ ብዙ ጊዜ አተኳኮሱን አያበላሹም። መጉረሻው ውስጥ ካሉ ግን ቀለሃው ሲተኮስ ተነፍቶ እዚያ ይጣበቅና አልወጣ ይላል። ጉድጓዱ ጥፍር የሚይዝ ከሆነ፣ ወይም ቀለሃ መጣበቅ ከጀመረ፣ የጠመንጃ ሠራተኛ ሳያየው አይተኩሱበት። ለማንኛውም በርሜል ደግሞ፣ ከመተኮስዎ በፊት ያስቀመጡትን ዘይት በደረቅ ጨርቅ ያውጡ፤ የተጠራቀመ ዘይት ያለበት በርሜል ግፊቱ ይጨምራል።