ታንክህን አሻንጉሊት ያስመሰለው ምንድን ነው?

ወንድሜ፣ ያያዝካቸውን ፎቶዎች አንድ በአንድ አጉልቼ አየኋቸው። ጥያቄህን ለሌሎችም እንዲገባ ባጭሩ ልድገመው። በ1፡35 መጠን (ከእውነተኛው 35 ጊዜ አንሶ) የተሠራ የቲ-34/85፣ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሶቪየት ታንክ፣ የፕላስቲክ ሞዴል ገጣጥመህ በብሩሽ አረንጓዴ ቀባኸው። የጦር ሜዳ ታንክ እንዲመስል በየጠርዙ ጭረትና ዝገት ጨመርክ፤ ቡናማ ዋሽ፣ ማለትም ውኃ እስኪመስል የቀጠነ ቀለም፣ በሙሉ አካሉ ላይ አለበስከው፤ በመጨረሻም ጭቃ ለጠፍክበት። ይህ ሁሉ ከተደከመበት በኋላ ግን ታንኩ ከበፊቱ ይበልጥ አሻንጉሊት መሰለህ። በዚያ ላይ ዋሹን ስትቀባ ከሥሩ ያለው አረንጓዴ ተነሣ፤ በማግስቱ ጠዋት ደግሞ ሁለት ጎማዎች ከነክንዳቸው (ከታንኩ አካል ጋር ከሚያያዙበት ዘንግ ጋር) ተሰብረው አገኘሃቸው። ሦስቱም በእኔ ላይ ደርሰዋል። ከቀላሉ ልጀምር።

የተነሣው ቀለም ጉዳይ አጭር ነው። የሥሩ ቀለም ኢናሜል ነው ብለሃል፤ ዋሹም ኢናሜል ነው። ሁለቱም የሚሟሙት በአንድ ፈሳሽ፣ በዋይት ስፒሪት ስለሆነ የላይኛው የታችኛውን ማለስለሱ አይቀርም። ለሚቀጥለው ሥራህ የሥሩን በአክሪሊክ፣ በውኃ በሚቀጥን ቀለም፣ ቀባ፤ በላዩ አክሪሊክ ቫርኒሽ ደርብበት፤ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን አቆየው። ከዚያ በኢናሜል ወይም በዘይት ቀለም የተዘጋጀ ዋሽ ብታሳርፍበት የሥሩን አይነካውም። ከመጀመርህ በፊት የታንኩን ሆድ፣ ማንም የማያየውን ቦታ፣ ዋይት ስፒሪት በነካ ጥጥ አሸት አድርገህ ፈትን። ጥጡ አረንጓዴ ሆኖ ከወጣ ጊዜው ገና ነው።

ጎማዎቹ ለምን እንደ ተሰበሩ ግን ብዙ ሰው አያውቅም፤ ስለዚህ ጠበቅ አድርጌ ልንገርህ። እኔን ያጋጠመኝ ታይገር 1 የተባለውን የጀርመን ታንክ ስሠራ ነው። ታይገር በእያንዳንዱ ጎኑ ስምንት ክንድ አለው፤ ጎማዎቹም እንደ ዓሣ ቅርፊት አንዱ በሌላው ላይ ተደርበው ይገባሉ። ክንዶቹን ስገጥም ሁለቱ ከመስመር ወጡብኝ፤ ሙጫው እየደረቀ ስለ ነበር በግድ ጠምዝዤ አስተካከልኋቸው። ሥራው ያማረ መሰለኝ። ከሁለት ሳምንት በኋላ የታችኛውን አካል በቀጠነ ዋሽ አጥለቅልቄ ተኛሁ። ሌሊት ከጠረጴዛው በኩል «ቀጭ» የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ሌላ። መብራት አብርቼ ሳይ ሁለት ክንዶች ከሥራቸው ተበጥሰዋል። ጠምዝዤ ያስተካከልኋቸው እነዚያው ሁለቱ ነበሩ። ስብራታቸው እንደ ብርጭቆ ጥርት ያለ ነበር፤ አንዳች መታጠፍ አይታይበትም። የቀሩት ስድስቱ በዚያው ፈሳሽ ተነክረው አድረው ምንም አልሆኑም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሞዴሎቻችን ፕላስቲክ ፖሊስታይሪን ነው። ተወጥሮ ባለበት ቦታ ላይ ዋይት ስፒሪት ተጠራቅሞ ሲቆይ፣ ፈሳሹ ውጥረቱን ተከትሎ ገብቶ ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ ክንድና ዘንግ ስትገጥም ምንም ሳይገፋ በራሱ እንዲቀመጥ አድርግ፤ ካልተቀመጠ ቀዳዳውን በቀጭን ሞረድ አስፋው እንጂ አትጠምዝዘው። ዋሹን ደግሞ ብሩሹን ወረቀት ላይ ካስነካህ በኋላ መገጣጠሚያው ላይ ብቻ ጠብ አድርግ፤ የተረፈውን ወዲያው በደረቅ ብሩሽ ምጠጠው። በጎማዎቹ ጀርባ ኩሬ ከቆመ እንቅልፍ አይያዝህ። ለተሰበሩት ሁለት ክንዶች ሙጫ ብቻ አይበቃም። ሁለቱንም ጫፍ በ0.5 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ ብሳና አጭር የመዳብ ሽቦ አስገብተህ በሱፐር ግሉ አያይዛቸው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ። የፊተኛውን የጭቃ መከላከያ፣ ፓራፋንጎውን፣ ያነሣህበትን ፎቶ ተመልከት። ጠርዙ ላይ ያሉት ጭረቶች እያንዳንዳቸው 2 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናሉ። በ35 አባዛው፤ 7 ሴንቲ ሜትር ነው። በእውነተኛው ታንክ ላይ መዳፍ የሚያህል ቀለም ተገንጥሎ ወድቋል ማለት ነው፤ ያውም በየጠርዙ፣ በእኩል ርቀት፣ ከፊት እስከ ኋላ። ጭቃው ውስጥ የቀላቀልከው አሸዋም ግማሽ ሚሊ ሜትር ቢሆን በ1፡35 ወደ 2 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ ጠጠር ነው። የቀለሙ ውፍረት እንኳ ከዚህ ስሌት አያመልጥም፤ ብሩሽህ የተወው የ0.1 ሚሊ ሜትር ጉብታ 3.5 ሚሊ ሜትር የሆነ ሸንተረር ይሆናል። ዓይናችን ይህን ሁሉ ቁጥር ሳያውቅ ይሰማዋል። «አንድ ነገር ልክ አይደለም» የሚለው ስሜትህ የመጣው ከዚህ ነው፤ ስሜትህም ትክክል ነው። እኔ እያንዳንዱን ምልክት ከማሳረፌ በፊት በ35 ማባዛትን ልማድ ካደረግሁ ወዲህ ከጠረጴዛዬ የሚወርደው ሞዴል ሌላ ሆኗል።

(1፡35 የሚባለው መጠን ራሱ የተወለደው በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ታሚያ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ፓንተር የተባለውን የጀርመን ታንክ ሞዴል ሲሠራ ነው። መጠኑን የወሰነው ሞተርና ባትሪ ሆዱ ውስጥ እንዲገባ የሚያስፈልገው ስፋት ነበር። ለመጫወቻ ተብሎ የተመረጠ ቁጥር ይኸው እስከ ዛሬ የሁላችንም መለኪያ ሆኖ ቀረ።)

ሁለተኛው ነገር የታንኩ ዕድሜ ነው። ቲ-34/85 መመረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1944 መጀመሪያ ላይ ነው፤ በአውሮፓ ጦርነቱ ያበቃው በግንቦት 1945። የአንተ ታንክ የጦርነቱ ጊዜ ታንክ ከሆነ፣ እጅግ ቢያረጅ የአንድ ዓመት ከመንፈቅ ዕድሜ እንኳ አይሞላውም። የጎኑ ብረት 45 ሚሊ ሜትር፣ የቱሬቱ (መድፉን የያዘው የሚዞረው የላይኛው ክፍል) ፊት 90 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው። እንዲህ ያለ ብረት በአንድ ክረምት ተበልቶ እንደ አሮጌ ቆርቆሮ አይቦረቦርም። ቱሬቱ ላይ ያፈሰስከው ብርቱካናማ ዝገት ሃያ ዓመት ሜዳ ላይ የተጣለ ታንክ ምልክት ነው። የሚጎዳው ስስ የሆነው ነው። ፓራፋንጎ ይታጠፋል፤ በጎኑ የተንጠለጠሉት የነዳጅ በርሜሎች ይጨረመታሉ፤ ከኋላ ያሉት ሁለት የጭስ ማውጫ ቱቦዎች ከሙቀቱ የተነሣ ቶሎ ይዝጋሉ። ዝገትህን ሰብስበህ ለእነዚህ ስጣቸው። ሌላው ላይ የተጋለጠ ብረት ማሳየት ከፈለግክ የብር ቀለም አትጠቀም፤ ጥቁር ቡናማ ይበቃል። ትንሽ ስፖንጅ ነክረህ፣ ወረቀት ላይ እስኪያልቅ አርግፈህ፣ ከዚያ ነካ ነካ አድርግ።

የት? ሰው የሚነካበት ቦታ። ቲ-34/85 አምስት ሰው ይይዛል፤ ሾፌሩ በፊት ባለው ክዳን ይገባል፤ ሌሎቹ በፓራፋንጎው ረግጠው፣ መያዣውን ጨብጠው ቱሬቱ ላይ ይወጣሉ። ጫማቸው የት እንደሚያርፍ፣ እጃቸው የት እንደሚይዝ በጣትህ ሞዴሉ ላይ ተከተል። በዚያ መንገድ ላይ ቀለሙ ይሳሳል፤ ከመንገዱ ውጪ ያለው ጠርዝ አዲስ ሆኖ ቢቀር ምንም አይደለም። እንዲያውም ያልተነካ ቦታ መኖሩ ነው የተነካውን የሚያሳምነው። ነዳጅ በሚሞላበት ክዳን ዙሪያ ጠቆር ያለ ቅባት፣ ከእሱ ወደ ታች የወረደ አንድ ቀጭን መስመር። አቧራ ከታች ወደ ላይ ይሳሳል፤ ጭቃ በጎማዎቹ መካከልና ከፓራፋንጎው ሥር ይከማቻል፤ ቱሬቱ አናት ላይ ጭቃ የሚያደርሰው ጫማ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ጥሩ አድርገሃል ብዬ ሳልነግርህ አላልፍም። የቱሬቱን ሻካራ ገጽና በዙሪያው የሚሄደውን የቅልጥ መስመር በብርጭቆ ወረቀት አላጠፋኸውም። ብዙዎች የፕላስቲክ ክፍሎቹ መጋጠሚያ መስሏቸው ያለሰልሱታል፤ እውነተኛው ቱሬት ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ስለሆነ መስመሩ እዚያ መኖር አለበት።

ሰንሰለቱን ግን አስተካክለው፤ ከሁሉ በላይ አሻንጉሊት ያስመሰለው እሱ ነው ብል አላጋነንኩም። ፎቶህ ላይ የላይኛው ሰንሰለት እንደ ተወጠረ ገመድ ቀጥ ብሎ ከጎማዎቹ በላይ ተንሳፍፏል። ቲ-34 ከላይ ሰንሰለቱን የሚደግፉ ትናንሽ ሮለሮች የሉትም፤ ሰንሰለቱ በክብደቱ ወርዶ በአምስቱ ትላልቅ ጎማዎች ላይ ይተኛል፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው ጎማ መካከል ርቀቱ ሰፋ ስለሚል እዚያ ትንሽ ይበልጥ ይረግባል። የአንተ ሰንሰለት ከላስቲክ የተሠራ ስለሆነ በራሱ አይረግብም። በእያንዳንዱ ጎማ አናት ላይ አንድ ጠብታ ሱፐር ግሉ አድርገህ፣ ሰንሰለቱን ተጭነህ፣ በፓራፋንጎውና በሰንሰለቱ መካከል የተጠቀለለ ወረቀት ወትፈህ እስኪይዝ አቆየው። ቀለሙም ሥርዓት አለው። መሬት የሚረግጠው የውጪ ፊትና ጎማዎቹ የሚያሹት መካከለኛ ጥርስ ያብረቀርቃሉ፤ የቀረው ጥቁር ቡናማ ነው። እርሳስ ፈጭተህ ዱቄቱን በጣትህ ብታሽበት ከማንኛውም የብር ቀለም የተሻለ የብረት ጸዳል ይሰጥሃል። ወደፊት ሸርማን የተባለውን የአሜሪካ ታንክ ብትሠራ ግን ይህን አትድገም፤ ብዙዎቹ የሸርማን ሰንሰለቶች መሬት የሚረግጡት በላስቲክ ስለሆነ አያብረቀርቁም።

ስለ ዋሹ አንድ የማምንበትን ልናገር። ሙሉ አካሉን በቡናማ ማልበስ አረንጓዴውን ያቆሽሸዋል እንጂ ጥልቀት አይሰጠውም። ቤልጂጋዊው ሞዴል ሠሪ ፍራንሷ ቨርሊንደን ዋሽንና ደረቅ ብሩሽን (ቀለሙ ሊያልቅ በደረሰ ብሩሽ ጠርዞችን ማሸትን) አንድ ላይ ባስፋፋበት ዘመን ብዙ ሰው እንዲያ ይሠራ ነበር፤ በዘመኑ ትልቅ እርምጃ ነው፤ እኔም ያን መንገድ ተከትዬ ነው የጀመርኩት። አሁን ዋሹን በብሎኖች ዙሪያና በክዳኖች ስንጥቅ ብቻ አሳርፋለሁ። ለሰፊው ገጽ የምጠቀመው የዘይት ቀለም ነው። ነጭ፣ ኦከር ቢጫና ጥቁር ቡናማ ቀለም በካርቶን ላይ ትንሽ ትንሽ አወጣለሁ፤ ካርቶኑ ዘይቱን እንዲመጥጠው አንድ ሰዓት ያህል እተወዋለሁ፤ አለበለዚያ ሲደርቅ ያብረቀርቃል። ከዚያ በጎኑ ላይ የመርፌ ራስ የሚያህሉ ነጠብጣቦች እበትናለሁ፤ ከላይ ነጩና ቢጫው፣ ከታች ቡናማው ይበዛል። ሰፋ ያለ ብሩሽ በዋይት ስፒሪት ነክሬ፣ በጨርቅ እርጥበት ብቻ እስኪቀረው ጠርጌ፣ ከላይ ወደ ታች እጎትታለሁ። መጀመሪያ መስመር መስመር ይሆናል። ብሩሹን እየጠረግህ ስትደጋግመው መስመሮቹ ይጠፉና አንዱ የነበረው አረንጓዴ አምስት ስድስት ዓይነት ይሆናል፤ ዝናብ የወረደበት፣ ፀሐይ ያነጣው ብረት ይመስላል። በዚህ ደረጃ ላይ አትቸኩል፤ እኔ አንዱን ጎን ለመጨረስ አንድ ሙሉ ምሽት እሰጠዋለሁ።

ይህ ሞዴል ይድናል፤ አትጣለው። ጭቃውን በሞቀ ውኃና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አልስልሰህ አንሣ። ቀለሙ የተነሣበትንና ጭረት የበዛበትን በጥሩ ብርጭቆ ወረቀት፣ በ1000 ቁጥር፣ በውኃ እያረጠብክ አስተካክል። በሳሙና ታጥቦ ሲደርቅ አክሪሊክ አረንጓዴ ከበፊቱ ትንሽ ፈካ አድርገህ ሦስት ጊዜ ስስ አድርገህ ቀባ፤ እያንዳንዱ ሳይደርቅ ሌላ አትደርብ። ትንሽ ሞዴል ላይ ቀለም ከእውነተኛው ይልቅ ጠቆር ብሎ ስለሚታይ ማፍካቱ ያስፈልጋል። ለማነጻጸሪያ በሙዚየም የቆሙ ታንኮችን ፎቶ አትመን፤ ብዙዎቹ በተደጋጋሚ ተቀብተዋል። የጦርነቱን ጊዜ ጥቁርና ነጭ ፎቶዎች እይ፤ ቀለሙን ባይነግሩህም ጭቃው የት እንደ ነበር ይነግሩሃል።

ሁሉንም በአንድ ጊዜ አትሥራው። የግራውን ጎን ብቻ እስከ መጨረሻው ጨርስ፤ ቀኙን አሁን እንዳለ ተወው። ከዚያ ሁለቱን በአንድ ዓይነት ብርሃን ፎቶ አንሥተህ አያይዝልን፤ ስለ ሰንሰለቱና ስለ ጭቃው የቀረውን ያን እያየን እንነጋገራለን።