መቼ እናጨብጭብ? ስለ ፊገር ስኬቲንግ ትርኢት የቀረቡ የአንባቢያን ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ ውድ የዓምዱ አዘጋጅ፣ የምኖረው ቶሮንቶ ነው። የአሥር ዓመት ልጄ ፊገር ስኬቲንግ (በሙዚቃ ታጅቦ በበረዶ ላይ እየተንሸራተቱ የሚዘሉበትና የሚሽከረከሩበት ስፖርት) ትማራለች፤ በቅርቡም ከውድድር በኋላ ለሚቀርብ የጋላ ትርኢት ትኬት ገዝተናል። እንዲህ ያለ ትርኢት በአካል አይቼ አላውቅም። ልጄ አበባና አሻንጉሊት ይዘን እንድንሄድ ትፈልጋለች። አብረውን የሚሄዱት እናቴ ደግሞ ደስ ሲላቸው እልል ሳይሉ አይቀሩም። መጮህ፣ ማጨብጨብና ስጦታ መወርወር የሚቻለው እስከ ምን ድረስ ነው?

መልስ፦ ውድ እኅታችን፣ እናትዎ እልልታቸውን ይዘው ይምጡ። የጋላ ትርኢት ውድድሩ ካለቀ በኋላ ሜዳሊያ ያገኙና ሌሎች የተጋበዙ ስኬተሮች ያለ ዳኛና ያለ ነጥብ የሚያቀርቡት ዝግጅት ነው። በውድድሩ ቀን እያንዳንዱ ዝላይና ሽክርክሪት ነጥብ ይሰጠዋል፤ በጋላው ግን አዳራሹ ይጨልማል፣ መብራት ስኬተሩን እየተከተለ ይበራል፣ ያቀረበው ነገር መወደድ አለመወደዱን የሚነግረውም ተመልካቹ ብቻ ነው። ዝም ብሎ መቀመጥ ጨዋነት የሚመስላቸው ሰዎች አሉ፤ እኔ ግን በዚህ መድረክ ላይ ዝምታ ስኬተሩን ብቻውን እንደ መተው ነው ብዬ አምናለሁ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2021 በስቶክሆልም የተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ተመልካች አልነበረውም፤ በጃፓንም በዚያ ወቅት አዳራሽ የገቡ ተመልካቾች እንዳይጮኹ ተከልክለው ስሜታቸውን በጭብጨባ ብቻ ይገልጹ ነበር። በባዶ ወንበሮች ፊት የተደረገውን ያንን ውድድር ያየ ሰው፣ የተመልካች ድምፅ ለዚህ ስፖርት ምን ያህል እንደሚያስፈልገው ይረዳል።

ተመልካቹና ዳኛው ሁልጊዜ አንድ ነገር እንደማይወዱም ልጅዎ ብታውቅ መልካም ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 በናጋኖ ኦሊምፒክ ፈረንሳዊቷ ሱሪያ ቦናሊ በውድድር የተከለከለውን ወደ ኋላ የሚገለበጥ ዝላይ ሠርታ በአንድ እግሯ አረፈች። ዳኞቹ ነጥብ ቀነሱባት፣ ተመልካቹ ግን በደስታ ጮኸላት፤ በመጨረሻም አሥረኛ ወጣች። ይህ ዝላይ እ.ኤ.አ. በ2024 በውድድር እስኪፈቀድ ድረስ ሕዝብ የሚያየው በአብዛኛው በጋላና በሌሎች ትርኢቶች ላይ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄዎ ልምጣ። ዋናው ነገር የድምፁ ብዛት ሳይሆን ሰዓቱ ነው። ስኬተሩ ስሙ ተጠርቶ ወደ በረዶው ሲገባ የፈለጉትን ያህል ይጩኹ። ቦታውን ይዞ ሙዚቃውን መጠበቅ ሲጀምር ግን ዝም ይበሉ፤ የመጀመሪያዋን ድምፅ ካልሰማ እንቅስቃሴውን ከሙዚቃው ጋር ማስኬድ ይቸግረዋል። ወደ ዝላይ ሲንደረደርም ትንፋሽዎን ይዘው ይጠብቁ፤ አየር ላይ የሚቆየው ከአንድ ሰከንድ ላነሰ ጊዜ ነውና የጫማው ስለት በረዶውን ነክቶ በሚገባ ካረፈ በኋላ የሚሰማው ጭብጨባ ምንም አይዘገይም። በፈጣን ሙዚቃ እርምጃውን ሲያሳይ በምቱ ማጨብጨብ ደስ የሚል ነገር ነው፤ ሆኖም ሕዝቡ ቀስ በቀስ እየፈጠነ ከሙዚቃው ሲቀድም ስኬተሩን ስለሚያውክ፣ ምቱ እንዳመለጠዎት ከተሰማዎ እጅዎን ያሳርፉ። ለስላሳ በሆነ ሙዚቃ ላይ ደግሞ ከነጭራሹ በምት አይጨብጨብ። የእናትዎ እልልታ ምርጥ ጊዜው ስኬተሩ የመጨረሻውን ሽክርክሪት አቁሞ እጁን ሲዘረጋ ነው፤ ያን ጊዜ ከመቀመጫ ተነስቶ ማጨብጨብም፣ “ይደገም!” ማለትም ያባት ነው፤ በጋላ ላይ ስኬተሩ ተመልሶ ከትርኢቱ ጥቂቱን መድገሙ የተለመደ ነውና።

ስኬተሩ ቢወድቅስ? “ውይ!” ማለትን ማንም አይከለክልም። ወዲያው ሲነሳ ግን አጥብቀው ያጨብጭቡለት። በዚህ ረገድ የጃፓን ተመልካቾች የሚመሰገኑ ናቸው፤ የሚወዱትን ስኬተር ስም የጻፉበትን ጨርቅ በበረዶው ዙሪያ ባለው አጥር ላይ ይሰቅላሉ፣ ከሌላ አገር የመጣውንም የአገሩን ሰንደቅ ዓላማ እያውለበለቡ ይቀበሉታል።

ስለ ስጦታው ጠንከር ብዬ መናገር እፈልጋለሁ። በስኬቲንግ ታሪክ ከሚታወቁ ትዕይንቶች አንዱ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2018 በደቡብ ኮሪያዋ ጋንግኑንግ የታየው ነው። ጃፓናዊው ዩዙሩ ሃንዩ ሁለተኛውን የኦሊምፒክ ወርቅ ባሸነፈበት በዚያ መድረክ፣ ከልጆች ተረት የሚታወቀውን ቢጫውን የዊኒ ዘ ፑ ድብ እንደሚወድ የሚያውቁ አድናቂዎቹ አሻንጉሊቶቹን ከየአቅጣጫው እንደ ዝናብ አወረዱለት። አሻንጉሊቶቹን የሚሰበስቡት በስኬቲንግ ጫማ የሚሮጡ ልጆች ነበሩ፤ ሃንዩም ስጦታዎቹን ለአካባቢው ሕዝብ እንደሚሰጥ ተናግሯል። ትዕይንቱ ያምራል። ነገር ግን እያንዳንዱ ውርወራ ቀጥሎ ለሚመጣው ስኬተር አደጋ ሊሆን እንደሚችል መዘንጋት የለበትም። የጫማው ስለት ውፍረት አራት ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ በዚያች ቀጭን ብረት ላይ ቆሞ በፍጥነት የሚሄድ ሰው አንድ የአበባ ቅጠል፣ አንድ የሪባን ቁራጭ ወይም ከአሻንጉሊት የወለቀ አንድ ዶቃ ቢረግጥ ሊወድቅና ሊጎዳ ይችላል። አበባ ይዘው የሚሄዱ ከሆነ ዙሪያውን በላስቲክ በደንብ የተጠቀለለና የማይረግፍ ይሁን፤ አሻንጉሊቱም ለስላሳና የሚወልቅ ነገር የሌለው ይሁን። የሚወረወረውም ስኬተሩ ለተመልካቹ እጅ ከነሳ በኋላ ብቻ ነው። ከሁሉ በፊት ግን አዘጋጁ መወርወርን ይፈቅድ እንደሆነ ይጠይቁ፤ ውርወራ ከልክለው ስጦታውን በሳጥን የሚቀበሉ ዝግጅቶች አሉ፣ እኔም ይህንን አሠራር እመርጣለሁ። ልጅዎ በእጅዋ የጻፈችው ደብዳቤ አብሮ ቢገባበት ደግሞ ስኬተሩን ከአሻንጉሊቱ ይልቅ የሚያስደስተው እርሱ ይመስለኛል።

ፎቶ ማንሳት ቢፈቀድም የስልክዎን ፍላሽ ያጥፉ። በጨለመ አዳራሽ ውስጥ እየተሽከረከረ ለሚዘል ሰው ድንገት የሚበራ ብርሃን ዓይን ያጭበረብራል።

ጥያቄ፦ ከዋሽንግተን አካባቢ ነው የምጽፈው። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጄ አንድ ስኬተር ከልቧ ትወዳለች። ከትርኢቱ በኋላ እርሱ ያረፈበት ሆቴል ሄደን ፊርማ እንድንጠይቅ ትለምነኛለች። ልወስዳት ይገባል?

መልስ፦ አይገባም። የልጅዎን ፍቅር ሳላቃልል ነው ይህንን የምለው፤ ስኬቲንግን ደግፎ ያቆየው እንዲህ ያለ ፍቅር ነው። ሃንዩ እ.ኤ.አ. በ2022 ከውድድር ከወጣ በኋላ በየካቲት 2023 በቶኪዮ ዶም ብቻውን ባቀረበው ትርኢት 35,000 ተመልካች ሰብስቧል። በዚያው ዓመት ነሐሴ ማግባቱን ገለጸ፤ በኅዳር ደግሞ መለያየታቸውን ባስታወቀበት መግለጫው እርሱንና ባለቤቱን የሚከታተሉና የሚያስጨንቁ ሰዎች እንደነበሩ፣ ባለቤቱም ከቤት መውጣት እንዳልቻለች ተናገረ። ሆቴል ድረስ ተከትሎ መጠበቅ ወደዚህ የሚወስድ የመጀመሪያ እርምጃ ነው፤ ሰውየው ከሥራው ወጥቶ የሚያርፍበትን ሰዓት እየወሰድንበት ነውና።

ይልቁንስ ትርኢቱ ሲያልቅ ወደ አጥሩ መቅረብ የሚፈቀድ መሆኑን አስተናጋጆቹን ይጠይቁ፤ በብዙ ትርኢቶች ስኬተሮቹ በበረዶው ዙሪያ እየዞሩ ተመልካቹን በእጃቸው ይሰናበታሉ፣ ጊዜ ሲኖርም ይፈርማሉ። ይህ ካልተሳካ ደብዳቤዋን በአገሩ የስኬቲንግ ፌዴሬሽን ወይም በትርኢቱ አዘጋጅ በኩል ልትልክለት ትችላለች። የቤት አድራሻዋን ለማንም እንዳትሰጥ ብቻ ይምከሯት።