ሲረግጡት ይንቀጠቀጥ ነበር?

ይድረስ ለወጣት መሐንዲሶች፤

ባለፈው ሐሙስ፣ ለልምምድ ቢሮዬ የምትመጣ ልጅ የድሮ ፋይሎቼን አቧራ እያራገፈች ስትደረድር አንድ ሪፖርት እጇ ገባ። የ1972 ዓ.ም. ነው። በታይፕ የተመታ፣ አራት ገጽ፣ ጠርዙን አይጥ የቀማመሰው። ቆማ አነበበችውና «ጋሼ፣ እዚህ ጋ ሰገነቱ ሰው አይችልም ይላል። ሲረግጡት ይንቀጠቀጥ ነበር?» አለችኝ።

«አዎ» አልኳት።

ዋሸኋት። ያንን ሰገነት አንድም ቀን ረግጬው አላውቅም። በሰባ ሦስት ዓመቴ፣ የልጅ ልጄ ልትሆን የምትችል ልጅ ፊት፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ። ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ተነሥቼ ይህን መጻፍ ጀመርኩ።

ሰገነቱ የአንድ ሲኒማ ቤት የፎቅ መቀመጫ ነበር። እናንተ ሲኒማ ቤት ሲባል የሚመጣላችሁ የገበያ ሕንፃ ላይ፣ ከጫማ ሱቅና ከበርገር ቤት በላይ ያለ ጥቁር ክፍል ስለሆነ፣ መጀመሪያ ስለ ሲኒማ ቤት ትንሽ ላውራችሁ።

አባቴ ፒያሳ ልብስ ሰፊ ነበር። ቅዳሜ ደንበኛ ከበዛለት ሃምሳ ሳንቲም ይሰጠኛል፤ እኔም ወደ ሲኒማ ኢትዮጵያ ወይም ወደ ሲኒማ ኢምፓየር እበርራለሁ። ፊልሙ የሚጀምረው በር ላይ ነው። በመስታወት ውስጥ የተለጠፉትን ፎቶዎች እያየን አክተሩ የቱ፣ ወንበዴው የቱ እንደሆነ እንከራከራለን፤ ግማሹን ታሪክ እዚያው እንጨርሰዋለን። አስተናባሪው ባትሪውን እያበራ ይመራናል፤ ከእግራችን ሥር የኦቾሎኒ ልጣጭ ይንኮሻኮሻል። ከዚያ መብራቱ ቀስ እያለ ይሞታል። አይጠፋም፤ ይሞታል ነው የምለው። መጋረጃው ለሁለት ሲከፈት ሆዴ ውስጥ አንድ ነገር አብሮ ይከፈት ነበር። «አክተር አይሞትም» የሚል ሕግ ነበረን። አንድ ቀን አክተሩ ሞተና አዳራሹ በፉጨት ተደበላለቀ፤ ገንዘባችን ይመለስ ያለም ነበር።

አያቴ ግን ስመለስ ጠበል ሳትረጨኝ አታስገባኝም። በእሷ ዘመን የነበሩ ሰዎች በአዲስ አበባ የተከፈተውን የመጀመሪያውን ሲኒማ ቤት «ሰይጣን ቤት» ነበር ያሉት። ሙት የሚነሣበት፣ ባቡር ግድግዳ ላይ የሚሄድበት ቤት ሌላ ምን ይባላል? ዛሬ ሳስበው እሷ ሲኒማን ከእኛ የበለጠ ቁም ነገር አድርጋ ይዛው ነበር።

ያኔ ያላየሁት፣ በኋላ በሙያዬ ያየሁት ነገር አለ። የጥሩ ሲኒማ ቤት ሥራ በሙሉ የተመልካቹን ዓይን የሚሸሽ ነው። ወለሉ ወደ ሸራው ያዘቀዝቃል፤ ከፊት ያለው ሰው ጭንቅላት እንዳይጋርዳችሁ ነው፤ ግን ቁልቁል መሄዳችሁን እግራችሁ ይረሳዋል። ሸራው እንደ ወንፊት የተበሳሳ ነው፤ ድምፅ ማጉያው ከኋላው ስለሆነ ድምፁ ከተዋናዩ አፍ የሚወጣ ይመስላችኋል። ሰገነቱ ደግሞ ከምድር ያሉት ሰዎች ፊት ዓምድ ማቆም ስለማይቻል ከኋላ ተይዞ አየር ላይ የተዘረጋ ነው። በመቶ የሚቆጠር ሰው እየጨፈረበት አየር ላይ የሚቆም ነገር ምን ያህል ፌሮ እንደሚበላ ለእናንተ አልነግርም። በደንብ ከተሠራ፣ ከቤቱ ሁሉ ጠንካራው እሱ ነው።

ትልልቆቹን አይቻለሁ። የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር ጣሊያኖች ሲኒማ ብለው የጀመሩት ቤት ነው፤ በ1948 ዓ.ም. ለንጉሡ የዘውድ በዓል 25ኛ ዓመት ተጨርሶ ቴአትር ሆነ፤ ደጁ ላይ የቀራፂው የሞሪስ ካልካ የድንጋይ አንበሳ ቆመበት። ተማሪ ሳለሁ አስመራ ወርጄ ሲኒማ ኢምፔሮ ፊት ለፊት ግማሽ ቀን ቆሜያለሁ። እንደ አዝራር የተደረደሩትን ክብ መብራቶች ስቆጥር ካፑቺኖዬ ቀዘቀዘ። ያን ቤት ጣሊያኖች በ1937 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው የሠሩት፤ ከተማዋ በሙሉ በ2009 ዓ.ም. የዓለም ቅርስ ተብላ ተመዘገበች። እኛ ጋ ስንቱ ኢምፔሮ እህል መጋዘን እንደሆነ ባውቅም ዝርዝር ውስጥ አልገባም፤ አንዱን ያበላሸሁት እኔ ነኝና።

በ1972 የሃያ ስምንት ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ። አንድ መሥሪያ ቤት ላንድሮቨር ሰጥቶ ሰገነቱ ወዳለበት ከተማ ላከኝ። ሲኒማ ቤቱ የስብሰባ አዳራሽ እንዲሆን ተወስኗል። ከእኔ የሚፈለገው የወለሉ ማስተካከያ ንድፍና ስለ ሰገነቱ አንዲት አንቀጽ ነበር። አንቀጿ ለምን እንዳስፈለገች የገባኝ እዚያ ስደርስ ነው፤ አዳራሹን የፈለጉት ሰዎች በስብሰባ ላይ ከመድረኩ ከፍ ብሎ የሚቀመጥ ሰው መኖሩን አልወደዱትም። ምክንያት ይፈልጉ ነበር።

በሩን የከፈተልኝ ማሽኒስቱ፣ የፊልም ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ሰው ነው። ሃምሳውን የጨረሰ፣ ቀጭን፣ ካኪ ኮት የለበሰ ሰው። የቀኝ እጁ ሁለት ጣቶች ጫፋቸው ነጭ ሆኖ ጠፍጥፏል። ካርቦን ነው አለኝ። በዚያ ዘመን የማሽኑ ብርሃን አምፖል አልነበረም፤ ሁለት የካርቦን ዘንጎች አፍ ለአፍ ገጥመው እንደ ብየዳ እየነደዱ ነው ያ ሁሉ ብርሃን የሚወጣው። ዘንጎቹ እየነደዱ ስለሚያጥሩ አለማቋረጥ ማቀራረብ ያስፈልጋል። ጣት የሚቃጠለው እዚያ ላይ ነው።

ወለሉን ስለካ የሜትሩን ጫፍ የያዘልኝ እሱ ነው። ሃያ ስምንት ሜትር ርዝመት፣ አንድ ሜትር ተኩል ቁልቁለት። ጎንበስ ቀና እያለ ሥራውን ይነግረኛል፤ እኔ ቁጥር እጽፋለሁ። አንድ ፊልም ብዙ ጥቅል ነው አለኝ፤ አንዱ ጥቅል ሃያ ደቂቃ ቢሄድ ነው። ስለዚህ ማሽኑ ሁለት ነው። አንዱ ሊጨርስ ሲል በሸራው ቀኝ ጥግ ላይ ትንሽ ክብ ነጥብ ብልጭ ትላለች፤ ያኔ ሁለተኛውን ማሽን ያስነሣል። ወደ ሰባት ሰከንድ ቆይቶ ሌላ ነጥብ ትመጣለች፤ ያኔ አንዱን ዘግቶ ሌላውን ይከፍታል። «ሃያ ዓመት ሙሉ ሕዝቡ አላወቀብኝም» አለ። የተናገረው በኩራት ነው። ቀጠለና «ጓድ ኢንጂነር፣ ምድሩን ለክተዋል፤ ሽቅብም ይውጡ እንጂ። ማታ የሕንድ ፊልም አለ፤ ከማሽኑ ጎን ቆመው ይዩ። ነጥቧን አሳይዎታለሁ» አለኝ።

ሰዓቴን አየሁ። ዓርብ ነበር። ቅዳሜ በአሥራ አንድ ሰዓት አምባሳደር ሲኒማ የምገናኛት ሴት ነበረችኝ፤ ሁለት ትኬት ኪሴ ውስጥ ነበር። እንግዲህ አስቡት፤ ሲኒማ ለመግባት ቸኩዬ ነው ሲኒማ ቤት ያፈረስኩት።

ከምድር ሆኜ አንጋጠጥኩ። ከሰገነቱ ሥር እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ነበር፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ። «ሌላ ጊዜ» አልኩት። ላንድሮቨሩ ውስጥ ጉልበቴ ላይ ጻፍኩት፦ ሰገነቱ በመሰንጠቁ የሰው ጭነት ስለማይችል ከነማሽን ክፍሉ ይፍረስ። ፈረምኩ።

በሁለተኛው ወር የወለሉን ሙሌት ልቆጣጠር ተመለስኩ። ሰገነቱ ገና አልፈረሰም። አሥራ ሁለት ሰው በመዶሻና በመሮ ሦስተኛ ሳምንታቸውን ይዘዋል። ፎርማኑ በላብ ተነክሮ ወደ እኔ መጣና «ኢንጂነር፣ ሰው አይችልም ያልከው ይሄን ነው?» ብሎ ሳቀ። ፌሮው የአውራ ጣት ውፍረት ነበረው፤ አርማታው መዶሻውን ያነጥራል። የተሰነጠቀው ልስኑ ብቻ ነበር። ሁለት ሳንቲ ሜትር ልስን።

ማሽኒስቱ የአዳራሹ ዘበኛ ተደርጎ በር ላይ ተቀምጧል። ተነሥቶ ሰላም አለኝ። ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ምነው ሰድቦኝ በነበር። ሜትሬን ከቦርሳዬ ሳወጣ ዝም ብሎ መጣና እንደ በፊቱ ጫፉን ያዘልኝ። ቁልቁለቱን በገረጋንቲ ሞላነው፤ አርማታ ጣልንበት፤ በሊሾ አስተካከልነው። ውኃ ልክ ሆነ። በሙያዬ እንደዚያ የተስተካከለ ወለል ሠርቼ አላውቅም።

በዚያ አዳራሽ ሁለተኛ ፊልም አልታየም። ኋላ ከተማዋ ውስጥ ቪዲዮ ቤቶች ተከፈቱ መባሉን ሰማሁ፤ ሕፃናት በአግዳሚ ላይ ተደራርበው አሮጌ ቴሌቪዥን ላይ ያፈጣሉ።

ያቺ ሴት ዛሬ የልጆቼ እናት ናት። የዚያን ቅዳሜውን ፊልም ርዕስ ሁለታችንም አናስታውሰውም። የምናስታውሰው ሌላ ነው፤ ቀደም ብሎ፣ በሰዓት እላፊው ዘመን፣ መሽቶብን ፊልሙ ሳያልቅ ሹልክ ብለን የወጣንበት ቀን። ሰውየው ደብዳቤውን ይክፈተው አይክፈተው እስከ ዛሬ አናውቅም። ልጄ በስልኩ ፈልጎ ሊያሳየኝ ነበር። አልፈልግም አልኩት።

ስልክ ካልኩ አይቀር፣ እናንተ ፊልም ታክሲ ውስጥ፣ በአንድ ጆሮ ማዳመጫ፣ ፍጥነቱን ጨምራችሁ ታያላችሁ። ወጥ እየጠቀሳችሁ ታያላችሁ። እንዲህ የታየ ፊልም ታየ አይባልም። ከጎናችሁ አንድ የማታውቁት ሰው ሳግ ሲተናነቀው ካልሰማችሁ ግማሹ ቀርቷችኋል። ባለቤቴ ይህን ስታነብ እንደምትስቅብኝ አውቃለሁ፤ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ብርድ ልብስ ውስጥ ስልኬን አፍንጫዬ ላይ ለጥፌ ካውቦይ የማየው እኔ ነኝ።

ደግሞ አሮጌ ሁሉ ይቆይ የምል ሰው አይደለሁም። በ2016 ፒያሳ ሲፈርስ ወጣቱ ፎቶ እየለጠፈ ሲያለቅስ ተናድጄ ነበር። ጣሪያው ሲያፈስ፣ ግድግዳው ሲያብጥ የት ነበራችሁ? ብዙዎቹን ቤቶች ውስጣቸውን አውቃቸዋለሁ፤ ምስጥ ጨርሷቸው ነበር። እንዲህ እያልኩ ስደነፋ ግን ሲኒማ ኢትዮጵያ ለመጨረሻ ጊዜ የገባሁት መቼ እንደሆነ ራሴን ጠየቅሁ። ትዝ አላለኝም። በ1990ዎቹ መጨረሻ የአማርኛ ፊልም ለማየት አምባሳደር ደጅ ላይ የተሰለፈውን ወጣት በመኪና ሳልፍ አይቼ «ሥራ ፈት» ብያለሁ። የቆመው እኮ ሲኒማ ቤቶቹን በሕይወት ሊያቆይ ነበር። መኪና ውስጥ የነበርኩት እኔ ነኝ።

ሂሳባችሁን ደግማችሁ ሥሩ አልላችሁም፤ ሁላችሁም ትሠራላችሁ፣ ኮምፒውተሩም ይሠራላችኋል። በጊዜ ድረሱ፣ ደንበኛ አክብሩ የሚለውንም ለሌላ መካሪ ትቻለሁ። መሰላል ካለ ግን ውጡ። ስንጥቅ ካያችሁ በጥፍራችሁ ቧጥጡት፤ ልስን ከሆነ ጥፍራችሁ ሥር ይገባል። ሃያ ዓመት አንድ ቤት ውስጥ የሠራ ሰው «ይምጡና ይዩ» ሲላችሁ ደግሞ ቀጠሮ ቢኖራችሁም ሂዱ። ቀጠሮው ከሚስታችሁ ጋር ከሆነ ግን እንዴት እንደምመክራችሁ አላውቅም፤ ያን ቅዳሜ ብቀር ኖሮ ምን እንደሚሆን አስቤው ፈርቻለሁ።

አንድ ነገር ቀርቷል። ልጅቱ ዓርብ ስትወጣ ሪፖርቱን ጠረጴዛዬ ላይ ትታው ሄዳለች። አራተኛው ገጽ ላይ፣ ከፊርማዬ ጎን፣ ቢጫ ወረቀት ለጥፋለች። በእርሳስ እንዲህ ብላለች፦ «ጋሼ፣ የሰገነቱ ጭነት ስሌት ያለበት ገጽ የት ነው? ሰኞ ልቅዳው።»