መልስ፦ ፊንላንድ ኔቶ ለመግባት ለምን ዘገየች?
ጥያቄህ «ፊንላንድ ሩሲያን ያን ያህል ከፈራች፣ ኔቶ ሳትገባ እስከ 2023 ለምን ቆየች?» የሚል ነው። ያዘገያትም ያው ፍርሃት ነው። (ዓመቶቹና ወሮቹ በፈረንጅ ናቸው።)

ሁለቱ አገሮች 1,340 ኪሎ ሜትር ገደማ ይዋሰናሉ። ሶቭየት ኅብረት በ1939 ወረረቻት። ፊንላንድ ነፃነቷን ብታተርፍም ቪቦርግን ጨምሮ ከግዛቷ አንድ አሥረኛ ያህሉን አጣች። በ1948 የተፈራረሙት ውል ደግሞ ጀርመን ወይም አጋሮቿ በፊንላንድ በኩል ሶቭየትን ሊያጠቁ ቢነሱ፣ ፊንላንድ እንድትከላከል ያስገድድ ነበር። ይህን ፈርማ ኔቶ ልግባ ማለት የማይታሰብ ነበር።

ገለልተኛ ስትባል ግን እጇን አጣጥፋ የተቀመጠች እንዳይመስልህ። ከቀዝቃዛው ጦርነት በኋላ ብዙ የአውሮፓ አገሮች የግዴታ ውትድርናን ሲተዉ እሷ አልተወችም። በ1995 የአውሮፓ ኅብረትን ተቀላቀለች። ኔቶን ግን «ካስፈለገን እንገባለን» ብላ አቆየችው።

በ2021 መጨረሻ ሞስኮ ኔቶ ከእንግዲህ እንዳይስፋፋ ዋስትና ጠየቀች። በእኔ እይታ ይህ ከዩክሬኑ ወረራ ባልተናነሰ አስደንግጧቸዋል፤ በእጃቸው ያቆዩትን ምርጫ ሊነጥቃቸው ነዋ! በግንቦት 2022 ከስዊድን ጋር አመለከቱ፣ ፊንላንድም በሚያዝያ 2023 ገባች። ስዊድን በቱርክና በሃንጋሪ እምቢታ እስከ 2024 ተንጠልጥላ ቆየች፤ እሱ ሌላ ታሪክ ነው።