የአንባቢያን ጥያቄዎች፦ ግሊያ ሕዋሳት የኤሌክትሪክ መልእክት ካልላኩ የአዮን መተላለፊያ ለምን አስፈለጋቸው?

ጥያቄ፦ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ስለ ነርቭ ሥርዓት በማስተምርበት ጊዜ፣ ግሊያ የሚባሉት ሕዋሳት የነርቭ ሕዋሳትን እንደሚደግፉና ማይሊን የሚባለውን የነርቭ ክር ሽፋን እንደሚሠሩ፣ የኤሌክትሪክ መልእክት ግን እንደማይልኩ እናገራለሁ። በቅርቡ አንዲት ተማሪዬ፣ በማደግ ላይ ያሉ የግሊያ ሕዋሳት የአዮን መተላለፊያዎችና የግሉታሜት ተቀባዮች እንዳሏቸው አንብባ፣ «መልእክት የማይልክ ሕዋስ እነዚህ ምን ያደርጉለታል?» ብላ ጠየቀችኝ፤ የሚያጠግብ መልስ ልሰጣት አልቻልሁም። እባክዎን ያብራሩልኝ።
የባዮሎጂ መምህር፣ ከደሴ

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፣ ተማሪዎ የጠየቀችው የዘርፉን ተመራማሪዎች ለብዙ ዓመታት ያደከመውን ጥያቄ ነው። እርስዎ የሚያስተምሩትም ስሕተት የለበትም፤ የጎደለው ነገር ግን አለ። ግሊያ የሚለው ስም ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ሙጫ ማለት ነው። ስሙን እ.ኤ.አ. በ1856 ያወጣው ጀርመናዊው ሐኪም ሩዶልፍ ፊርኾ እነዚህን ሕዋሳት የተመለከታቸው የነርቭ ሕዋሳትን አያይዞ እንደሚያቆም ማጣበቂያ ነበር። በእኔ እምነት ይህ ስም ምርምሩን ጎድቶታል፤ ሙጫ የተባለ ነገር በአጠገቡ የሚካሄደውን ይሰማ እንደሆነ በሙከራ የሚጠይቅ ሰው ለማግኘት ከመቶ ዓመት በላይ ፈጅቷልና።

የአዮን መተላለፊያ በሕዋስ ገለፈት ላይ የተተከለ፣ መካከሉ ክፍት ሊሆን የሚችል ፕሮቲን ነው፤ ሲከፈት አዮኖችን፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ሙል ያላቸውን ፖታሲየምን፣ ሶዲየምን፣ ካልሲየምን ወይም ክሎራይድን ያሳልፋል። ተቀባይ ደግሞ የነርቭ ሕዋሳት መልእክት ለማስተላለፍ የሚለቁት እንደ ግሉታሜት ያለ ኬሚካል ሲያርፍበት የሚነቃ ፕሮቲን ሲሆን፣ ከተቀባዮች አንዳንዶቹ ራሳቸው መተላለፊያዎች ስለሆኑ ኬሚካሉ እንደደረሰባቸው ይከፈታሉ። የነርቭ ሕዋስን ከሌላው የሚለየው የሶዲየም መተላለፊያዎችን በአንድ ቦታ አጭቆ በመያዝ ፈጣን የኤሌክትሪክ ምት መፍጠር መቻሉ ነው እንጂ፣ መተላለፊያ የእርሱ ብቻ ንብረት ስለሆነ አይደለም።

ይህንን ጥርት አድርገው ያሳዩት እ.ኤ.አ. በ1966 ስቲቨን ካፍለርና ባልደረቦቹ ናቸው። በውኃ ውስጥ በሚኖር የሳላማንደር ዝርያ የዓይን ነርቭ ላይ ባደረጉት ሙከራ፣ የነርቭ ክሮቹ ሲቀሰቀሱ የግሊያ ሕዋሱ ራሱ ምት ባይፈጥርም፣ በገለፈቱ ላይ ያለው የቮልቴጅ ልዩነት ቀስ እያለ ሲቀንስ ተመለከቱ። ምክንያቱ ከነርቭ ክሮቹ የወጣው ፖታሲየም በሕዋሳቱ መካከል ባለው ጠባብ ክፍተት ውስጥ መከማቸቱ ነበር። ስለዚህ ግሊያው በፖታሲየም መተላለፊያዎቹ አማካይነት ጎረቤቱ ምን ያህል እየሠራ እንደሆነ «ይሰማ» ነበር ማለት ነው።

የተማሪዎ ጥያቄ ግን በማደግ ላይ ስላሉት ሕዋሳት ነውና ወደ እነርሱ ልመለስ። እ.ኤ.አ. በ1983 ለንደን ውስጥ ይሠሩ የነበሩት ማርቲን ራፍና ባልደረቦቹ፣ በአይጥ የዓይን ነርቭ ውስጥ፣ ማይሊን የሚሠራውን ኦሊጎዴንድሮሳይት የሚያስገኝ ገና ያልበሰለ ሕዋስ መኖሩን አሳወቁ። ይህ ቅድመ ሕዋስ እየተከፋፈለ የሚባዛ፣ የሚጓዝ፣ በመጨረሻም መባዛቱን አቁሞ አክሰኖችን (ከነርቭ ሕዋስ የሚወጡትን ረጃጅም ክሮች) በማይሊን የሚጠቀልል ነው። መቼ ይባዛል? መቼ ያቆማል? ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ በገለፈቱ ላይ ያሉት የፖታሲየም መተላለፊያዎች ናቸው። በወጣትነቱ የሚበዙለት ፖታሲየምን ወደ ውጭ የሚያስወጡና ቮልቴጅ ሲለወጥ ዘግየት ብለው የሚከፈቱ ዓይነቶች ናቸው፤ በቤተ ሙከራ እነዚህ በመድኃኒት ሲዘጉ ሕዋሱ መከፋፈሉን ያቆማል። ግሉታሜት አምፓ በሚባለው ተቀባይ ላይ ሲያርፍም ተመሳሳይ ውጤት ይታያል፤ በተቀባዩ በኩል የሚገባው ሶዲየም እነዚያኑ የፖታሲየም መተላለፊያዎች ያግዳቸዋልና። እያደገ ሲሄድ ኬአይአር 4.1 የሚባለው ሌላ የፖታሲየም መተላለፊያ ይበዛለታል፣ የገለፈቱም ቮልቴጅ ወደ 80 እና 90 ሚሊቮልት ገደማ ኔጌቲቭ ያዘነብላል። በዚህ መተላለፊያ ዘረመል ላይ የሚደርስ ጉድለት የሚጥል በሽታን፣ የሚዛን መዛባትን፣ የመስማት ችግርንና የኩላሊት ጨው ማባከንን በአንድነት የሚያመጣ ሕመም መሆኑ እ.ኤ.አ. በ2009 ታውቋል። ለተማሪዎችዎ አንድ ምሳሌ ብቻ የሚጠቅሱ ከሆነ ይህኛውን ብመርጥ ደስ ይለኛል፤ «ሙጫ» በተባለው ሕዋስ ላይም የሚገኝ አንድ ፕሮቲን ሲጎድል በሰው ልጅ ላይ ይህን ያህል መዘዝ እንደሚከተል ያሳያልና።

እጅግ የሚያስደንቀኝ ግን እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመው ግኝት ነው። ድዋይት በርግልስና ባልደረቦቹ ሂፖካምፐስ በሚባለው የአንጎል ክፍል የሚገኙትን እነዚህን ቅድመ ሕዋሳት፣ የአንድን ሕዋስ ጥቃቅን የኤሌክትሪክ ፍሰት በሚለካው ቀጭን የመስታወት ቱቦ ሲመረምሩ፣ የነርቭ ሕዋሳት ከእነርሱ ጋር እውነተኛ ሲናፕስ (መልእክት የሚተላለፍበት መገናኛ) መሥርተው ግሉታሜት እንደሚለቁላቸው አገኙ። ቀጥለው የመጡ ጥናቶች ሕዋሱ በሚከፋፈልበት ጊዜ እንኳ ሲናፕሱን እንደማይጥለው፣ ወደ በሳል ኦሊጎዴንድሮሳይትነት ሲለወጥ ግን እንደሚያጣው አሳይተዋል። በሌላ አነጋገር ሕዋሱ የሚያዳምጠው የትኛውን አክሰን መጠቅለል እንዳለበት ገና ባልለየበት ዕድሜ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የነርቭ ሕዋሳትን የሚያረግበው ጋባ የሚባለው ኬሚካል ተቀባዮችም አሉት፤ በሕዋሱ ውስጥ ክሎራይድ ስለሚበዛ ጋባ ከማርገብ ይልቅ ይቀሰቅሰዋል። ከእነዚህ ሕዋሳት መካከል አንዳንዶቹ የሶዲየም መተላለፊያም ስላላቸው ሙሉ ምት ይፈጥራሉ ወይስ አይፈጥሩም በሚለው ላይ ተመራማሪዎች ተከራክረዋል፤ ከነርቭ ሕዋስ እኩል አለመሆናቸው ግን አያከራክርም።

እንግዲህ ለተማሪዎ የሚሰጡት መልስ ይህ ሊሆን ይችላል፦ በማደግ ላይ ያለ የግሊያ ሕዋስ መተላለፊያና ተቀባይ የሚያስፈልገው ለመላክ ሳይሆን ለመቀበል፣ የተቀበለውንም ተከትሎ ለመባዛት፣ ለማቆም ወይም ለመብሰል ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣ ጥናት፣ አዲስ ኦሊጎዴንድሮሳይት እንዳይፈጥሩ የተደረጉ አዋቂ አይጦች፣ እርከኖቹ ያልተስተካከለ ርቀት ባላቸው መንኮራኩር ላይ መሮጥን እንደ ጓደኞቻቸው ሊለምዱ አልቻሉም፤ ይህ አዳዲስ ግሊያ ከትምህርት ጋር የተያያዘ መሆኑን ያመለክታል።

ጥያቄ፦ አዋላጅ ነርስ ነኝ። ማግኒዚየም ሰልፌትን እስካሁን የማውቀው ለኤክላምፕሲያ (በእርግዝና ጊዜ ከደም ግፊት ጋር ለሚመጣ መንቀጥቀጥ) ሕክምና ነበር። ከ32 ሳምንት በፊት ልትወልድ ለተቃረበች እናት ሲሰጥ የሕፃኑን አንጎል እንደሚጠብቅ በሥልጠና ላይ ተነገረን። እንዴት? ያለጊዜያቸው በተወለዱ ሕፃናት ላይስ ጉዳቱ በአንጎሉ ነጭ ክፍል ላይ የሚበረታው ለምንድን ነው?
አዋላጅ ነርስ፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ የሁለተኛው ጥያቄዎ መልስ ከላይ ከተጻፈው ጋር የተያያዘ ነውና ከእርሱ ልጀምር። ከ23ኛው እስከ 32ኛው የእርግዝና ሳምንት በሰው ፅንስ አንጎል ነጭ ክፍል (አክሰኖች በብዛት በሚያልፉበት) ውስጥ የሚበዙት፣ ለማይሊን ሥራ የተዘጋጁ ነገር ግን ገና ያልበሰሉ የኦሊጎዴንድሮሳይት ሕዋሳት ናቸው። በዚህ ዕድሜ ያላቸው የአምፓ ተቀባይ ካልሲየምን የሚከለክለው ክፍል ስለሚጎድለው ካልሲየምን በብዛት ያሳልፋል። በሰላሙ ጊዜ ይህ ሕዋሱ ምልክትን አጥርቶ እንዲቀበል ያግዘዋል። የደም ዝውውር ወይም ኦክስጅን ሲቀንስ ግን ግሉታሜትን ከመካከለኛው ክፍተት የሚያነሡት ፕሮቲኖች ኃይል አጥተው በተቃራኒው መልቀቅ ይጀምራሉ፤ ግሉታሜቱ ይከማቻል፣ ተቀባዮቹ ክፍት ሆነው ይቆያሉ፣ በገባው ካልሲየም ብዛትም ሕዋሱ ይሞታል። ወደፊት አክሰኖችን ይጠቀልል የነበረው ሕዋስ ስለሌለ፣ ከወራት በኋላ እጅና እግር ግትር የሚልበት ሴሬብራል ፖልሲ ሊከተል ይችላል።

የማግኒዚየም አዮን ኤንኤምዲኤ የሚባለውን ሌላውን የግሉታሜት ተቀባይ ቀዳዳ ገብቶ ይዘጋል። ይህ ተቀባይም በእነዚሁ ሕዋሳት ላይ እንደሚገኝ እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 የወጡ ጥናቶች አሳይተዋል። ይሁን እንጂ ማግኒዚየም አምፓን ስለማይዘጋ፣ ጥቅሙ በዚህ አንድ መንገድ ብቻ የሚመጣ ነው ብሎ መደምደም አይገባም። ጥቅሙ ራሱ ግን በእናቶች ላይ በተደረጉ በርካታ ጥናቶች ተረጋግጧል፤ የሴሬብራል ፖልሲን ዕድል በአንድ ሦስተኛ ገደማ ይቀንሳል፣ የዓለም የጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ መክሮታል።

ታዲያ አምፓን የሚዘጋ መድኃኒት ለምን አይሰጥም? በአይጥ ግልገሎች ላይ ተሞክሮ የነጩን ክፍል ጉዳት ቀንሷል። ነገር ግን ተቀባዩ በመላው አንጎል ለነርቭ ሕዋሳት ግንኙነት፣ ለራሱ ለግሊያውም እድገት የሚያስፈልግ በመሆኑ፣ በሕፃን ላይ መዝጋት ቀላል ውሳኔ አይደለም። በእርስዎ እጅ ያለው ሥራ እርግዝናው ስንት ሳምንት እንደሆነ በትክክል መለየት፣ መድኃኒቱን በጊዜው ማድረስና፣ ለኤክላምፕሲያ በሚሰጥበት ጊዜ እንደሚያደርጉት ሁሉ የእናቲቱን ትንፋሽ፣ የጉልበት ሪፍሌክስና የሽንት መጠን መከታተል ነው።